የቶኒ ራይስ "ቸርች ስትሪት ብሉዝ"፦ ጊታሩ ራሱ ተቀባይ የሆነበት አልበም

ይሄን የምጽፈው ከደብረ ብርሃን ነው፣ ጊታር መማር ከጀመርኩ አራት አመት አልፎኛል፣ እና ወር ሙሉ አንድ አልበም ብቻ ነው እየሰማሁ ያለሁት ስለዚ ስለሱ ካልጻፍኩ እረፍት የማገኝ አይመስለኝም። አልበሙ የቶኒ ራይስ "ቸርች ስትሪት ብሉዝ" ነው፣ በፈረንጆቹ 1983 ሹገር ሂል የሚባለው የአሜሪካ ኩባንያ ያወጣው። ቆየት ያለ ነው አዎ፣ ግን እዚህ ከተማ ከማውቃቸው ጊታር ከሚነካኩ ልጆች አንዱም ሰምቶት አያውቅም፣ እኔም ዘንድሮ ነው የደረስኩበት።

ቶኒ ራይስ አሜሪካዊ የብሉግራስ ጊታር ተጫዋችና ዘፋኝ ነው፣ ብሉግራስ ምንድነው ለምትሉ ባጭሩ ልንገራችሁ። ቢል ሞንሮ የሚባል የኬንታኪ ሰው፣ ማንዶሊን ተጫዋች ነው፣ ኬንታኪ በቅጽል ስሟ የብሉግራስ ግዛት ስለምትባል ባንዱን "ብሉ ግራስ ቦይስ" ብሎ ሰየመው፣ በ1945 መጨረሻ ላይ ደሞ ኧርል ስክራግስ የሚባል ወጣት ባንጆውን በሦስት ጣት እየመታ ሲቀላቀላቸው ዛሬ ብሉግራስ የሚባለው ድምፅ ተወለደ ይባላል። ባንጆ፣ ማንዶሊን፣ ፊድል (ቫዮሊን ማለት ነው)፣ ጊታር፣ ቤዝ፣ በቃ፣ ድራም የለም። ባንጆው ራሱ ዘሩ ከአፍሪካ ነው፣ በባርነት የተጋዙ ሰዎች ናቸው እዛ አገር ያስገቡት፣ ይሄን ሳውቅ ሙዚቃውን የምሰማበት ጆሮ ተቀየረብኝ። ጊታር ግን በዚ ሁሉ መሀል ከኋላ ሆኖ ምት የሚይዝ ነበር፣ ሶሎ የነባንጆና የነፊድል ሥራ ነው። እነ ዶክ ዋትሰንና ክላረንስ ዋይት ናቸው በፒክ (ሽቦ መምቻዋ ትንሽ ቁራጭ) እየለቀሙ ጊታሩን ወደፊት ያመጡት፣ ቶኒ ራይስ ደሞ ከክላረንስ ተቀብሎ የራሱ አደረገው።

ተቀብሎ ያልኩት በቁሙ ነው። ቶኒ ገና ልጅ ሆኖ ካሊፎርኒያ ውስጥ ክላረንስን አይቶታል፣ የያዘው ጊታር በ1935 የተሠራ ማርቲን ዲ-28 የሚባል ጊታር ነበር፣ የመሀል ቀዳዳው ከተሠራ በኋላ ተቦርቡሮ የሰፋ። ክላረንስ በ1973 ሰክሮ የሚነዳ ሰው ገጭቶት ሞተ። ጊታሩ ቀድሞውኑ ሌላ ሰው ጋ ነበር፣ ቶኒ ፈልጎ አፈላልጎ በ1975 በ550 ዶላር ገዛው። የምትሰሙት ድምፅ ከዛ እንጨት የሚወጣ ነው። እኔ እንግዲህ ታሪኩን ስላወቅኩ ይሁን አይሁን እንጃ፣ ታችኞቹ ሽቦዎች ሲመቱ ደረቴ ላይ ነው የሚያርፉት።

በዚ አልበም ላይ ባንጆ የለም፣ ማንዶሊን የለም፣ ፊድል የለም፣ ቤዝም የለም። ቶኒ በጊታርና በድምፁ፣ በተወሰኑት ላይ ደሞ ወንድሙ ዋያት በሁለተኛ ጊታር ምት ይይዝለታል። 12 ሥራ ነው ያለው። ይሄ ሰው ከባንጆ ተጫዋቹ ከጄ ዲ ክሮው ባንድ ጋር በ1975 የብሉግራስን መልክ የቀየረ አልበም የሠራ፣ ከዛ ደሞ ከማንዶሊን ተጫዋቹ ከዴቪድ ግሪስማን ጋር ወደ ጃዝ የተጠጋ ሙዚቃ ሲጫወት የኖረ ነው፣ ማለቴ ፍጥነት አያንሰውም፣ ቢፈልግ ጣቱን እያሯሯጠ ሊያሳየን ይችል ነበር። አላደረገውም። እያንዳንዷን ኖታ እናቴ ምስር እንደምትለቅመው ነው አንድ በአንድ የሚያነሳት፣ እንክርዳድ የለበትም።

አሁን ዋናውን ነገር ልንገራችሁ። ለገና መንዝ ወጥቼ ነበር፣ መሀል ሜዳ አካባቢ አጎቴ ጋ። አጎቴ ኑሯቸው እርሻ ነው ግን ማሲንቆ ይጫወታሉ፣ በአካባቢው ሰርግም ሆነ ማኅበር እሳቸው ካልመጡ ጨዋታው አይደምቅም። ማታ እሳት ዳር ባና ተከናንበን ቁጭ ብለናል፣ ብርዱን መንዝ ያደረ ሰው ያውቀዋል፣ እሳቸው የደጋናቸውን ጭራ ሙጫ እያሹ ነው። ጭራውን በአውራ ጣታቸውና በሌባ ጣታቸው መሀል ይዘው ሙጫዋን ከላይ ወደታች፣ ከላይ ወደታች፣ ቀስ ብለው ነው የሚያሹት፣ ከዛ አንዴ ጎተት አድርገው ያዳምጡና ካልጣማቸው እንደገና ይጀምራሉ። እኔ አንዱን ኢርፎን ጆሯቸው ላይ አደረኩላቸውና የመጀመሪያውን ዘፈን ከፈትኩ፣ የአልበሙን ስም የያዘውን፣ የኖርማን ብሌክ ድርሰት ነው።

እጃቸው ቆመ። ትንሽ ሰሙና "ይሄ ሰውዬ ብቻውን ነው?" አሉኝ።

"አዎ ጋሼ፣ እሱና ጊታሩ ብቻ ናቸው።"

"ታዲያ ማነው የሚቀበለው?"

ምን ብዬ እንደምመልስ ሳስብ እሳቸው ቀደሙኝ፣ "አሃ፣ ክራሩ ነው ለካ የሚቀበለው!" ጊታር አይሉም፣ ክራር ነው የሚሉት።

እኔ ያን ሁሉ ቀን ስሰማው ያላገኘሁትን እሳቸው በሁለት ደቂቃ አገኙት። ቶኒ አንድ ስንኝ ይዘፍናል፣ ስንኟ ስታልቅ ድምፁ ያርፋል፣ ጊታሩ ዜማዋን ከአፉ ተቀብሎ ያዞራትና መልሶ ያስረክበዋል፣ መሀል ላይ ክፍተት የለም። አዝማሪ ግጥሙን ጥሎ ማሲንቆው ሲያስከትልለት ሰሚው የተባለውን ለማብሰልሰል ጊዜ ያገኛል አይደል፣ ልክ እንደዛ ነው። የካሳ ተሰማን ክራር እየሰማ ያደገ ሰው ይሄን አልበም ለመልመድ አይቸገርም ብዬ በሙሉ አፌ ነው የምናገረው፣ አንድ ሰው አንድ መሣሪያ ይዞ ቤት የሚሞላበት ነገር ለኛ ብርቅ አይደለም።

ስምንተኛው "ሃውስ ካርፔንተር" የሚባለው ከእንግሊዝና ከስኮትላንድ ስደተኞች ጋር ወደ አሜሪካ የተሻገረ የድሮ የተረት ዘፈን ነው። አንዲት ሴት ባሏ አናጢ ነው፣ ልጅ ወልዳለች፣ የድሮ ወዳጇ ከባህር ማዶ ተመልሶ ይመጣና ነይ እንሂድ ይላታል፣ ልጇን ስማ ትታ መርከብ ትሳፈራለች፣ ብዙም ሳይቆይ ለልጇ ማልቀስ ትጀምራለች ከዛ መርከቧ ትሰጥማለች። ታሪኩን ለአጎቴ ባለቤት ስተረጉምላት ቡና እየወቀጠች ነበር፣ ዘነዘናውን ይዛ ቀረችና "ልጁስ? ልጁን ማን አሳደገው?" አለችኝ። ዘፈኑ አይናገርም አልኳት። ማታውን ሙሉ ስለ ልጁ ነው ያወራችው። ቶኒ ይሄን ሁሉ ሲዘፍን ድምፁን አያንቀጠቅጥም፣ አያለቅስም፣ እንደ ምስክር ቀጥ ብሎ ነው የሚናገረው፣ ለዛ ነው ሐዘኑ ወደ ሰሚው የሚተርፈው።

ከዛ ዘጠነኛው አለ። "ጀሩሳሌም ሪጅ"፣ የቢል ሞንሮ ድርሰት፣ ግጥም የለውም። ስሙ የመጣው ሞንሮ ካደገበት ኬንታኪ ውስጥ ሮዚን ከምትባል መንደር አጠገብ ካለ ሸንተረር ነው። አጎቴ ኢየሩሳሌም የሚለውን ሲሰሙ አማተቡ። ከዛ እየሰሙ "ይሄ ወደ ባቲ ይሄዳል" አሉ። ባቲ እንኳን አይደለም፣ የኛ ቅኝት አምስት ድምፅ ነው እሱ ግን በመሀል ሌሎች ድምፆችም ይነካል፣ ግን ያ ጠቆር ያለ ስሜቱ አለው፣ ለምን እንዳሉት ገብቶኛል። ማሲንቋቸውን አንስተው ሊከተሉት ሞከሩ። የመጀመሪያውን ክፍል ያዙት፣ ሁለተኛው ላይ አመለጣቸው፣ "መልሰው" አሉኝ፣ መለስኩት፣ "መልሰው" አሉኝ፣ የስልኬ ባትሪ እስኪያልቅ እንደዛ ቆየን። ለኔ ከአልበሙ አንደኛው ይሄ ነው፣ በመጀመሪያ ስሙ ካላችሁኝም ይሄን ነው የምላችሁ።

የመጨረሻው የካናዳዊው ጎርደን ላይትፉት ዘፈን ነው፣ "ኤድመንድ ፊትዝጀራልድ" ስለምትባል ጭነት መርከብ። መርከቧ ኅዳር 10 1975 በፈረንጆቹ ሱፒሪየር ሐይቅ ላይ በማዕበል ሰጥማ 29 ሰው አልቋል፣ አንድም የተረፈ የለም። ዘፈኑ የተጻፈው ብዙ ሳይቆይ ነው። ለኔ ሙሾ ነው የሆነብኝ። እኛ አገር አልቃሿ የሟቹን ነገር አንድ በአንድ እያነሳች ለቀስተኛውን እንደምታስለቅሰው ሁሉ ይሄም ቀኑን፣ ነፋሱን፣ ጭነቱን እየዘረዘረ ነው የሚሄደው፣ ከሥር ደሞ ጊታሩ አንዴም ሳያርፍ እንደ ውሃ ይመታል።

ያልወደድኩትም አለ። ስድስተኛው "ኤኒ ኦልድ ታይም" ቀለል ያለ የፍቅር ዘፈን ነው፣ የጂሚ ሮጀርስ፣ መጥፎ አይደለም ግን ከዙሪያው ካሉት ጋር አይመጣጠንም፣ እኔ አልፈዋለሁ። እንግሊዝኛው ካልገባችሁ ግማሹ ይቀርባችኋል፣ በተለይ ተረት የሚናገሩት፣ ግጥሙን ፈልጋችሁ አንድ ጊዜ አንብቡት። እና ደሞ አልበሙ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ ዓይነት ቀለም ነው ያለው፣ ሰው ሰብስቦ ለመጨፈር ወይም ሥራ እየሠሩ ለማጀቢያ የሚሆን ነገር የሚፈልግ ሰው ይሰለቸዋል።

ድምፁ ላይ ግን አትቀልዱ። እኔ መጀመሪያ ከተማችን ውስጥ አንድ ዘፈን የሚጭን ሱቅ ሄጄ በፍላሽ አስጭኜ ነበር፣ ቤት ገብቼ ስከፍተው ሦስቱ የሌላ ሰው ቅጂ ናቸው፣ የቀሩት ከመታመቃቸው የተነሳ ሽቦው ቆርቆሮ ሆኗል፣ አራተኛው ጭራሽ ሳያልቅ ይቆረጣል። በዛ ቅጂ ሁለት ሳምንት ሰምቼ "ይሄን ያህል ምን አለው" ብዬ ልተወው ነበር። በኋላ የሌሊት ጥቅል ገዝቼ ከዩቲዩብ ላይ ጥሩውን ሳገኝ ነው የገባኝ፣ ጣቱ ሽቦው ላይ ሲንሸራተት ይሰማል፣ ፒኩ ሽቦውን ከመልቀቁ በፊት ያለችው ትንሽ ጠቅታ ትሰማለች፣ ከመዝፈኑ በፊት አየር ሲስብ ይሰማል። ስለዚ በስልክ ስፒከር አትስሙት፣ በሚኒባስም አትስሙት፣ ጥሩ ኢርፎን ተዋሱና ሰው ሲተኛ ስሙት።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ምክንያቱም ይሄን ካወቅኩ በኋላ ድምፁን እንደ በፊቱ መስማት አልቻልኩም። ቶኒ ራይስ ከዚህ አልበም አሥር አመት ገደማ በኋላ ጉሮሮው ታሞ በ1994 መዝፈን አቆመ፣ ንግግሩም ሻክሮ ቀረ፣ ከዛ በኋላ ጊታሩን ብቻ ነበር የሚጫወተው። በፈረንጆቹ 2013 የብሉግራስ የክብር መዝገብ ውስጥ ሲገባ መድረክ ላይ ቆሞ ለተወሰኑ ደቂቃዎች በድሮ ድምፁ ተናገረ፣ ቪዲዮው አለ፣ እዩት፣ አዳራሹ ምን እንደሆነ ታያላችሁ። ያረፈው ታኅሣሥ 16 ቀን 2013 በኛ አቆጣጠር ነው፣ በነሱ ገና ቀን፣ በ69 አመቱ። እዚህ አልበም ላይ ያለው ድምፅ እንግዲህ ሙሉ ነው፣ ወፍራም፣ ምንም ያልነካው።

አጎቴ ስልካቸው ቁልፍ ናት ግን ሜሞሪ ትቀበላለች፣ ከመመለሴ በፊት ግጥም የሌላቸውን ሦስቱን ጫንኩላቸው። ባለፈው እሁድ ደወሉልኝ፣ ሰላምታውን እንኳን ሳይጨርሱ "ያን ሁለተኛውን ክፍል ያዝኩት" አሉኝና ስልኩን መሬት ላይ አስቀምጠው ማሲንቋቸውን መቱልኝ፣ ኔትወርኩ እየቆራረጠም ቢሆን ሰማሁት፣ ይዘውታል። ለፋሲካ ጊታሬን ይዤ እወጣለሁ፣ ምቱን እኔ ልይዝላቸው ነው።