ዲኤንኤ በፖስታ፦ የሦስት ትእዛዝ ልምዴ

ዲኤንኤ በፖስታ ይመጣል ስላት እናቴ አላመነችኝም። ግን እውነት ነው። የምትፈልጉትን ክር በአራቱ ፊደላት፣ በኤ፣ ቲ፣ ጂ እና ሲ ጽፋችሁ ትልካላችሁ። ድርጅቱ ሠርቶ፣ አድርቆ ይልክላችኋል። ዋጋው በፊደል ነው የሚታሰበው። እኔ እዚህ ሞንትሪያል ለማስተርስ ሥራዬ ከአንድ እንዲህ ዓይነት ድርጅት ሦስት ጊዜ አዝዣለሁ።

ምን ልሠራበት? ለእናቴ ያስረዳኋት በሰፌድ ነው። ሰፌድ ሲሰፋ ስንደዶው ውስጥ ለውስጥ ይዞራል፤ አክርማው ደግሞ አንዱን ዙር ከሌላው ጋር ያስረዋል። የእኛም ሥራ እንደዚያው ነው። ስንደዶው ኤም13 ከሚባል ቫይረስ የሚወሰድ፣ 7,249 ፊደል ያለው ረጅም ክር ነው። አክርማዎቹ ከ200 በላይ አጫጭር ክሮች ናቸው። ከማግኒዚየም ጨው ጋር ቀላቅላችሁ፣ አሙቃችሁ፣ ቀስ እያላችሁ ታቀዘቅዛላችሁ። በቃ፣ ራሱ ይታጠፋል። በአሜሪካ የካልቴክ ዩኒቨርሲቲው ተመራማሪ ፖል ሮዝመንድ እ.ኤ.አ. በ2006 በዚህ መንገድ 100 ናኖሜትር (ናኖሜትር የሚሊሜትር አንድ ሚሊዮንኛ ነው) ገደማ ስፋት ያለው ፈገግ ያለ ፊት ሠርቶ አሳይቷል። የእኔው አራት ማዕዘን ነው፤ በየማዕዘኑ አንድ የወርቅ ቅንጣት እንዲቀመጥበት እፈልጋለሁ።

የመጀመሪያው ትእዛዝ አጫጭሮቹ ክሮች ነበሩ። ባለ 96 ጉድጓድ ሦስት ፕሌት፤ ፕሌት ማለት እያንዳንዱ ክር በየራሱ ትንሽ ጉድጓድ የሚቀመጥበት የፕላስቲክ ትሪ ነው። ዓርብ ማታ ደርሶ እስከ ሰኞ ኮሪደር ላይ ቆየ። ደንግጬ ነበር፤ ግን የደረቀ ዲኤንኤ ለዚህ አይበገርም። ርካሹን፣ ያልተጣራውን ነው የገዛሁት። አሪፍ ሆኖ ታጠፈ።

ሁለተኛው ላይ ተሳሳትኩ። ወርቅ የሚይዘው ክር ጫፉ ላይ ድኝ ያለው ነው። እሱንም ያልተጣራ አዘዝኩ። ክር ሲሠራ ፊደል በፊደል ይቀጠላል። እያንዳንዱ ቅጥያ 99 በመቶ ቢሳካ እንኳ፣ ከ100 ባለ 30 ፊደል ክሮች ሙሉ የሚሆኑት 75 ያህሉ ናቸው። የእኔ ድኝ ደግሞ መጨረሻ ላይ የሚቀጠል ነበር። ስለዚህ መንገድ ላይ የቀረው ክር ሁሉ ድኝ የለውም፤ ወርቁንም አይዝም። ወርቁ በክር በደንብ ሳይሸፈን ማግኒዚየም ውስጥ ሲገባ እርስ በርሱ ይጣበቃል። ወርቁ ያለበት ቀይ ፈሳሽ ዓይኔ እያየ ወደ ወይን ጠጅ ቀለም ተለወጠ፤ ተጣብቋል ማለት ነው። የሁለት ሳምንት ሥራ ነበር።

ሦስተኛውን ተጣርቶ እንዲመጣ አዘዝኩ። ዋጋው በጣም ይጨምራል፣ ግን ይገባዋል። ፈሳሹ ቀይ እንደሆነ ቀረ።

ያም ሆኖ ወርቁ አንዳንዱ ማዕዘን ላይ አለ፣ አብዛኛው ላይ የለም። እዚህ ጋ ጥፋቱ የድርጅቱ ነው። ተራዎቹን የማዕዘን ክሮች ወርቅ በሚይዙ ለመተካት 12 ጉድጓዶች መዝለል ነበረብኝ። እኔ በረድፍ ጽፌ የላክሁትን እነሱ በዓምድ ሞልተውታል፤ የላኩልኝ ዝርዝር ግን በረድፍ እንደሆነ ቀረ። የዘለልኩት ሌላ ክር ነው። ማዕዘኑ ላይ ተራው ክርና ወርቅ ያዡ ቦታ ሲሻሙ ነበር ማለት ነው። ስጽፍላቸው በማግስቱ መለሱ። ይቅርታ ጠይቀው፣ ሦስቱንም ፕሌት እንደገና ሠርተው በነፃ ላኩ። ለዚህ ከልቤ አመሰግናቸዋለሁ። እናንተ ግን ፕሌቱ እንዴት እንደሚሞላ ሳትጠይቁ አትዘዙ።

ሌላው ቅሬታዬ ክሩ ላይ የሚቀጥሏቸው ነገሮች ዝርዝር አጭር መሆኑ ነው። ኮሌስትሮል አለ፣ ባዮቲን የሚባለው ቫይታሚን አለ። እዚሁ ከተማ፣ ማክጊል ዩኒቨርሲቲ፣ የሐናዲ ስሌማን ቡድን ዲኤንኤን ከሰው ሠራሽ ሞለኪውሎችና ከብረታ ብረት ጋር እያጋጠመ ይሠራል። እንዲህ ያለ መጋጠሚያ የሚፈልግ ሰው እዚህ ድርጅት አያገኘውም፤ ራሱ መሥራት አለበት።

ለተራ ክር ግን ዓይኔን ሳላሽ ደግሜ አዝዛቸዋለሁ። ባለፈው ማክሰኞ በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ አየሁት። አራት ጥቁር ነጥብ፣ አራቱም በየማዕዘናቸው። ፎቶውን ለእናቴ ላክሁላት።