ለባሕር ዳሩ የጃፓን መኪና ገማች ምስጋና፤ ለሚፈልገውም ጥቆማ

ባሕር ዳር፣ ደብረ ማርቆስና ፍኖተ ሰላም ያለን፣ ውጭ አገር ያሉ ዘመዶቻችንም ጭምር፣ የጃፓን መኪና ለመግዛት ስናስብ ቀድመን የምንጠይቀው አንድ ሰው አለ። ሻርጃ ውስጥ ከጃፓን ጨረታ የሚመጡ መኪኖችን ሲፈትሽና መሪያቸውን ከቀኝ ወደ ግራ ሲያዞር ኖሮ የተመለሰ፣ አሁን ባሕር ዳር የሚሠራ ባለሙያ ነው። ስሙ አደባባይ እንዲወጣ ስለማይፈልግ አንጽፈውም፤ ስልኩን በውስጥ መስመር ለጠየቀን እንሰጣለን። ሰሞኑን ቨርጂኒያ ያለ ወንድማችን ሊገዛው ባሰበው ኒሳን ስካይላይን ጂቲአር ላይ የሠራው ሥራ ግን ሳይመሰገን መታለፍ የለበትም። ክብረት ይስጥልን፣ እጅህ ይባረክ ብለናል።

ብዙ ሰው ስለሚጠይቅ ይህን እናስቀድም፦ እንዲህ ያለው መኪና ወደ ኢትዮጵያ አይገባም። ከጥር 2016 ዓ.ም. ወዲህ በነዳጅ የሚሄድ አውቶሞቢል ማስገባት ተከልክሏል። ከዚያ በፊትም በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ የአሮጌ መኪና ቀረጥ ዕድሜው በገፋ ቁጥር እንዲጨምር አድርጎ ነበር። በዚያ ላይ ይህ ጂቲአር ከፋብሪካ መሪው በግራ ሆኖ ወጥቶ አያውቅም። «በሌላ ሰው ስም እናስገባልሃለን» የሚል ደላላ ከመጣ ባለሙያው የሚመክረው ስልኩን መዝጋት ነው፤ ለዚህ ምክር ገንዘብ አይጠይቅም። ግምቱን የሠራልን መኪናው አሜሪካ እንዲገባ ነው።

ሻጩ መኪናውን ያቀረበው «ቪ-ስፔክ ቱ ኑር» ብሎ ነው። ኑር የሚባለው ኒሳን አር34 የተባለውን የጂቲአር ትውልድ ከማቆሙ በፊት እ.ኤ.አ. በ2002 በ1000 ገደማ ብቻ ያወጣው የመጨረሻ እትም ነው፤ ከተራው ቪ-ስፔክ ቱ ጋር ያለው የዋጋ ልዩነት ሌላ ጥሩ መኪና ይገዛል። የተላኩት ፎቶዎች ዓይን ይሞላሉ፦ የካርቦን ኮፈን፣ ወርቃማ የሞተር ክዳን፣ እስከ 300 የሚቆጥር የፍጥነት ሜትር። ባለሙያው ፎቶዎቹን ገና ሳያገላብጥ የጠየቀው ሁለት ነገር ነበር፦ የሻንሲ ቁጥሩንና ጃፓን ለኤክስፖርት የምትሰጠውን የምዝገባ ስረዛ ወረቀት። በሬ ሊገዛ ገበያ የወጣ ሰው ጥርሱን ሳያይ ገመድ አይጨብጥም፤ እሱም ቁጥሩን ሳያይ ስለ ዋጋ አያወራም።

ወረቀቱ ላይ ዓመቱ የሚጻፈው በጃፓን ዘመን ነው። ሄይሴይ የሚለው ቁጥር ላይ 1988 ሲደመር የፈረንጁ ዓመት ይመጣል። የዚህ መኪና ወረቀት ለመጀመሪያ ጊዜ የተመዘገበው በሄይሴይ 13፣ በሁለተኛው ወር ነው ይላል፤ እ.ኤ.አ. የካቲት 2001 ማለት ነው። ኑር ደግሞ በሄይሴይ 14 የመጣ ነው። እናም መኪናው ኑር አለመሆኑን ራሱ ወረቀቱ ተናገረ። ሌላ ገማች ቢሆን እዚህ ላይ ሂሳቡን ተቀብሎ ይሄድ ነበር፤ እሱ ግን «እና ታዲያ ምንድን ነው?» የሚለውን ሳይመልስ አልተወንም።

የሻንሲ ቁጥሩ በሞተሩ ክፍል ከኋላ ባለው ግድግዳ ላይ ተመትቶ የሚገኝ ነው። የአር34 ጂቲአር ቁጥር ሁሉ «ቢኤንአር34» ብሎ ይጀምራል፤ ከ400001 ጀምሮ ያሉት ከእ.ኤ.አ. 2000 አጋማሽ በኋላ የወጡት ናቸው። ቪ-ስፔክ ቱም ኑርም እዚሁ ተራ ውስጥ ስለሚገቡ «4 ብሎ ከጀመረ ኑር ነው» የሚለው ወሬ ባዶ ነው። የሚለየው ፋስት የሚባለው የኒሳን መለዋወጫ ካታሎግ ነው፤ ሙሉ ቁጥሩ ሲገባበት የሞዴሉን ኮድ፣ የፋብሪካውን ቀለምና የተመረተበትን ወር ያወጣል። የእኛው መኪና እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 2000 የተመረተ ተራ ቪ-ስፔክ ቱ ሆኖ ተገኘ።

ወሩ እንዲሁ ለዕውቀት ያህል የተፈለገ አይደለም። አሜሪካ የራሷን የደኅንነት መስፈርት ያላሟላ መኪና የምታስገባው ከተመረተ 25 ዓመት ሲሞላው ነው፤ የሚቆጠረውም ከተመረተበት ወር እንጂ ከተመዘገበበት አይደለም። የጃፓኑ ወረቀት ደግሞ የሚያሳየው የተመዘገበበትን ብቻ ነው። በሁለቱ መካከል ወራት ሊያልፉ ይችላሉ፤ መኪናው ጊዜው ሳይደርስ ወደብ ላይ ከተገኘ ወይ ይመለሳል ወይ በየቀኑ የማስቀመጫ ኪራይ ይበላል። እውነተኛ ኑር ቢሆን ኖሮ ከእ.ኤ.አ. 2027 በፊት ባልገባም ነበር። የጭስ ሕጉ ለብቻው ነው፤ 21 ዓመት የሞላው መኪና ነጻ የሚሆነው የራሱን ዓይነት ሞተር እንደያዘ ከሆነ ነው። ካሊፎርኒያ ያላችሁ ዘመዶቻችን ደግሞ ስሙ፦ የእናንተ ስቴት የጭስ ሕግ ከዚህም ይጠብቃል፤ ሌላ ስቴት ያለችግር ታርጋ ያገኘ መኪና እናንተ ጋ ላይመዘገብ ይችላል።

ወደ ብረቱ ስንመጣ ሻጩ የሚያሳየውን ሳይሆን የማያሳየውን ነው ፎቶ የሚያስነሳው። የካርቦኑ ኮፈን በተራው ቪ-ስፔክ ቱም ላይ ስላለ ምንም አያረጋግጥም። ወርቃማው ክዳን ቀለም ነው፤ ሜትሩም ተገዝቶ የሚገጠም ዕቃ ነው። የሞተሩ ብሎክ ግን አይዋሽም፦ ኑር የተሠራበት ጠንካራው ብሎክ 24ዩ የሚል ምልክት ከነቀረጻው ይዞ ይወጣል፤ የተራው ምልክት 05ዩ ነው። የመጣልን ፎቶ 05ዩ የሚል ነበር።

የሜትሩ መቀየር ያመጣው ጣጣ ግን ከኑርነቱ ይብሳል። ክሩስኮቱ ላይ የሚታየው ኪሎሜትር አዲሱ ሜትር ከተገጠመ ወዲህ የተቆጠረው ብቻ ነው። ባለሙያው የጃፓኑን የአገልግሎት ደብተር ገጽ በገጽ ፎቶ አስልኮ በየምርመራው የተጻፈውን ኪሎሜትር በቀን አሰለፈና የቀደመውን ከአዲሱ ደመረ። ደብተሩ ባይኖር «ኪሎሜትሩ አይታወቅም» ብሎ ሊገምት እንደነበር ነግሮናል፤ ያ አንድ ዐረፍተ ነገር በጨረታ ዋጋን ክፉኛ ይጥላል።

የጨረታ ወረቀቱን፣ ማለትም ጨረታ ቤቱ መኪናውን መርምሮ ደረጃ የሚጽፍበትን፣ ማንበብ ዋናው ሙያው ነው። በግርድፉ እንዲህ ነው፦ 4 ተኩል እና 5 በጣም ንጹሕ፣ 4 ጥሩ፣ 3 ተኩል ሥራ የሚፈልግ፣ አር ወይም አርኤ አካሉ ተጋጭቶ የተጠገነ። 1 የተባለ ሁሉ ቆሻሻ ነው ማለት አይደለም፤ ሞተሩ ወይም ካምቢዮው የተነካካ መኪናም ይህን ቁጥር ያገኛል፤ ውኃ የገባበትም እንዲሁ። ስለዚህ 1 ሲታይ የጎኑ ማስታወሻ ሳይነበብ አይፈረድም። ወረቀቱ ላይ ባለው የመኪናው ሥዕል ኤ ጭረት ነው፣ ዩ ስርጉድ፣ ደብልዩ ተጠግኖ የተቀባ ቦታ፣ ኤስ ዝገት፣ ሲ የበላ ብረት፣ ድርብ ኤክስ የተቀየረ አካል። የእኛው ላይ 4 እና ከኋላ ፓራፋንጎ ደብልዩ 2 ነበረበት፤ ደብልዩ 2 ከሆነ ጥገናው በዓይን ይለያል ማለት ነው። ዋጋ መቁረጥ ይገባዋል፤ መኪናውን ለመተው ግን አያበቃም።

ወረቀቱ የማይነግረው የአር34 ክፉ በሽታ አለ፦ የፊት አሞርተዛተር የሚታሰርበት ጉልላት። እዚያ ላይ ሁለት ላሜራ ተደራርቦ በማሸጊያ ተለብጧል፤ ውኃ በስንጥቁ ገብቶ ከውስጥ ይበላዋል፣ ከላይ ቀለሙ ደህና ይመስላል። ባለሙያው ማሸጊያውን በጎን ብርሃን፣ ከቅርብ፣ በሁለቱም በኩል ፎቶ አስነሣ። በቀኙ በኩል ማሸጊያው የምስር ፍሬ ያህል አብጦ ጫፉ ቡና ዓይነት ሆኗል። «ይኼ ገና ጅምር ነው፣ ግን ጅምሩም ይከፈልበት» ብሎ የመበየጃና የመቀቢያ ሂሳቡን ከዋጋው አስቀነሰ።

ሞተሩን በተመለከተ ያስጠየቀው ስለ ቱርቦው ነው። የተራው አር34 ሁለት ቱርቦዎች በጭስ በኩል ያለው መዘውራቸው ሴራሚክ ነው፤ ግፊቱ ከ1 ባር በላይ ሲጨመርበት ይሰበራል፣ ስባሪው ወደ ሲሊንደር ከተመለሰም ቴስታታና ፒስተን ይዞ ይሄዳል። ስለዚህ የግፊት መቆጣጠሪያ የተጨመረበት መኪና «ጠንክሯል» ተብሎ ዋጋ አይጨመርለትም፤ ቱርቦው ካልተቀየረ ይቀነስበታል።

ዋጋ ሲሰጥ የማስታወቂያ ዋጋ አያይም። የሚያየው በጨረታ የተሸጡትን ነው፤ ተመሳሳይ ሞዴል፣ ተመሳሳይ ቀለም፣ ቅርብ ኪሎሜትር። የወንበር፣ የጎማ ቸርኬና የጭስ መውጫ ኦሪጅናሉ አብሮ መኖሩን፣ ሁለቱ ቁልፎች መኖራቸውን ይጨምርበታል። መጨረሻ ላይ ሦስት ቁጥር ይጽፋል፦ ርካሽ ነው የሚባልበት፣ ትክክለኛው፣ እና ከዚህ ካለፈ ተወው የሚለው፤ ከነቀኑና ከነየኑ ምንዛሪ። ምንዛሪውን መጻፉ በምክንያት ነው፤ «ኮሚሽን አልወስድም» የሚል አስመጪ ብዙ ጊዜ ኮሚሽኑን የሚወስደው በየኑ ምንዛሪ ውስጥ ደብቆ ነው። ሂሳቡ ተለያይቶ ካልተጻፈ አትፈርሙ፦ የመኪናው ዋጋ፣ የጨረታ ቤቱ ክፍያ፣ የወኪሉ ክፍያ፣ እስከ ወደብ ማጓጓዣ፣ የመርከብ ኪራይ፣ ኢንሹራንስ፣ ቀረጥ፣ የወደብ አገልግሎት።

መጫኛውን በሚመለከት ኮንቴይነር መክሮናል። መኪና ተነድቶ በሚገባበት መርከብ ዋጋው ይቀንሳል፤ ነገር ግን ቁልፉ ብዙ እጅ ያልፋል፣ ውስጡም ትርፍ ዕቃ አይጫንም፤ ኦሪጅናል ወንበሮቹ ተፈተው ለብቻቸው ለሚመጡበት መኪና ደግሞ ይኼ አይሆንም። በኮንቴይነር ሲሆን አሜሪካ የሚያስገባው ሰው ዝርዝሩን ዕቃው ጃፓን ላይ ከመጫኑ 24 ሰዓት በፊት ማስመዝገብ አለበት፤ ካልሆነ ቅጣቱ 5000 ዶላር ሊደርስ ይችላል። ይህን አስመጪው «እንጨርሰዋለን» ብሎ ያልፈዋል፤ የተመዘገበበትን ቁጥር ጠይቁት።

ወንድማችን ይህን ግምት ይዞ ተደራድሮ መኪናውን በቪ-ስፔክ ቱ ዋጋ ወስዶታል።

እዚሁ ላለን ሰዎች ደግሞ ይበልጥ የሚጠቅመን የአገር ውስጡ ፍተሻ ነው። ቪትዝ ሊገዛ ላሰበ ሰው መሪው የዞረ መሆኑን የሚለየው በደቂቃ ነው፦ በቀኝ በኩል ከክሩስኮቱ ጀርባ ያለው ግድግዳ ላይ የተደፈነ ቀዳዳ፣ የዝናብ መጥረጊያው አቅጣጫ፣ የፊት መብራቱ ወደ ግራ ማድላቱ። መሪ መዞሩ ብቻውን ነውር የለውም፤ ነውሩ ብየዳው ነው። ሊብሬውንና ዲክላራሲዮኑን ከሻንሲና ከሞተር ቁጥር ጋር ፊደል በፊደል ያስተያያል።

ኮምፕሬሽን ሲለካ ደግሞ ብዙ ጋራዥ የሚሳሳትበትን ያውቃል። ከፍታ ላይ አየሩ ስስ ነው። በባሕር ወለል 12 ባር የሚያሳይ ጤነኛ ሞተር ባሕር ዳር ላይ 9.7፣ ደብረ ማርቆስ ላይ ወደ 9 ቢያሳይ አልሞተም፤ የመጽሐፉን ቁጥር ይዞ «ፋሻ ጨርሷል፣ ሞተር ይውረድ» ማለት ሰውን ያለ ጥፋቱ ማስከፈል ነው። እሱ ሞተሩን አሙቆ፣ ካንዴላውን በሙሉ ፈትቶ፣ ቤንዚኑን ዘግቶ፣ ፔዳሉን እስከ ታች አስረግጦ ይለካል፤ የሚያየውም በሲሊንደሮቹ መካከል ያለውን ልዩነት ነው። 1 ባር ካለፈ ያኔ ይጠረጥራል። ውኃ ያሞቃል የተባለ መኪና ካለ ደግሞ ደጀን ድረስ ሄዶ ዓባይ በረሃን አስወርዶ ያስወጣዋል፤ ነዳጁ በባለቤቱ ነው።

ክፍያው ቁርጥ ነው፤ ከመኪናው ዋጋ ጋር አይወጣም አይወርድም፣ ከሻጭም አይቀበልም። ጉድለቱን እንናገር ከተባለ ሥራ ላይ ስልክ አያነሣም፣ ሪፖርቱንም በእጁ ጽፎ ፎቶ ነው የሚልከው፤ ጽሕፈቱን ለመልመድ ጊዜ ይወስዳል። የሃይብሪድና የኤሌክትሪክ መኪና ባትሪ አይገምትም፤ መሣሪያው የለኝም ብሎ ይመልሳል። ለባንክ ብድር ወይም ለፍርድ ቤት የሚሆን ማኅተም ያለው ግምትም አይሰጥም።

ልትደውሉለት ስትሉ እነዚህን ይዛችሁ ጠብቁ፦ የሻንሲ ቁጥሩ ብረቱ ላይ የተመታበት ፎቶ (ከወረቀት የተገለበጠ አይቀበልም)፣ የሊብሬው ወይም የስረዛ ወረቀቱ ሁለቱም ገጽ፣ ቀዝቃዛ ሞተር ሲነሣ የተቀረጸ ቪዲዮ፣ ሻጩ የጠየቀው ዋጋ። ዋጋውን መጨረሻ ላይ ንገሩት፤ ቀድማችሁ ከነገራችሁት «ለምን ነገራችሁኝ» ብሎ ይቆጣል።