አንገቴን ላሳረፉልኝ የመኪና ወንበር ልባስ ሰፊ የቀረበ ምስጋና

በአደባባይ ምስጋና የመጻፍ ልማድ የለኝም። ግን ሥራቸውን ጠንቅቀው የሚያውቁ ሰዎች ጥጋቸውን ይዘው ሲሠሩ ማንም አያውቃቸውም፣ የማያውቁት ደግሞ ማስታወቂያውን ሞልተውታል። ስለዚህ ዛሬ እጽፋለሁ። ረዘም ይላል፣ ታገሱኝ። በተለይ የመኪናው ሄድሬስት (የወንበሩ የጭንቅላት መደገፊያ) ጭንቅላቱን ወደፊት እየገፋ አንገቱን ያሰቃየው ሰው ካለ እስከ መጨረሻው ያንብበው።

መኪናዋን የገዛኋት ከሰው እጅ ነው። ሞተሯም ፍሬኗም እንከን አይወጣላቸውም። ከወንበሩ ጋር ግን መስማማት አቃተኝ። ገና ስቀመጥ የጭንቅላት መደገፊያው ከኋላ ይገፋኛል፣ አገጬ ወደ ደረቴ ይወርዳል፣ ዓይኔ ከመንገዱ ይልቅ ዳሽቦርዱ ላይ ያርፋል። ፀጉሬን ከኋላ ሰብስቤ ያሰርኩ ቀንማ ጭራሽ አይሞከርም። ረዘም ያለ መንገድ ነድቼ ስወርድ ከማጅራቴ እስከ ትከሻዬ ግትር ይልብኛል።

ምክር አልጠፋም። አንዱ «አውጥተሽ ፊቱን ወደኋላ አዙረሽ ክተችው» አለኝ። ሌላው «ነቅለሽ ጣይው፣ ምን ያደርግልሻል» አለ። ስሙን የማልጠራው አንድ ጋራዥ ደግሞ የመደገፊያውን ሁለት ብረቶች በእሳት አሙቀን ወደኋላ እናጥፍልሽ አለኝ፣ ያውም በልበ ሙሉነት። እኔ እንጃ፣ ሦስቱም አልዋጥልኝ አሉ። በመጨረሻ ወደ ጋሼ የላከችኝ ጓደኛዬ ናት።

ጋሼ እያልኩ የምቀጥለው ስማቸውን ስለማልጽፍ ነው። «ስልኬ አደባባይ ላይ እንዳይወጣ» ብለውኛል፣ ቃሌን እጠብቃለሁ። የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ አገናኛችኋለሁ። ዋና ሥራቸው የመኪና ወንበር መስፋት ነው፤ ከወጣት ረዳታቸው ጋር ሆነው የበሩን የውስጥ ሽፋን፣ የጣሪያውን ጨርቅ፣ የውጭውን ፕላስቲክም ይሠራሉ።

መጀመሪያ የገረመኝ መቀስ አለማንሳታቸው ነው። «ልጄ፣ ግቢና እንደምትነጂው ተቀመጪ፣ ለእኔ ብለሽ አትስተካከይ» አሉኝ። ከጎን ቆመው ዝም ብለው አዩኝ። ከዚያ በጭንቅላቴና በመደገፊያው መካከል ያለውን ክፍተት፣ የመደገፊያውን ከፍታ፣ የወንበሩን ጀርባ አቋም ተራ በተራ አዩ። «ይሄ ትራስ መስሎሽ እንዳይሆን» አሉ። «ሥራው ከኋላ የተገጨሽ ቀን ነው።»

ነገሩን አስረዱኝ፣ እኔም በኋላ አንብቤ አረጋገጥኩት። መኪና ከኋላ ሲገጭ ወንበሩ ጀርባችንን ይዞ ወደፊት ይሄዳል። ጭንቅላታችን ግን ባለበት መቅረት ይፈልጋል። በዚያች ቅጽበት ሁለቱን አያይዞ የሚታገለው አንገት ብቻ ነው፣ የሚጎዳውም ያኔ ነው። መደገፊያው ቅርብ ከሆነ ጭንቅላትና ትከሻ አብረው ይሄዳሉ። ሩቅ ከሆነ ጭንቅላት እስኪደርስበት ድረስ አንገት ዋጋ ይከፍላል፤ በጣም ዝቅ ካለ ደግሞ ጭንቅላት በላዩ ወደኋላ ይታጠፋል፣ እሱማ የባሰ ነው።

አሜሪካ ለአዳዲስ መኪኖች የፊት ወንበር መደገፊያን ግዴታ ያደረገችው እ.ኤ.አ. ከ1969 ጀምሮ ነው። በ2004 ሕጉን አጠበቀችው፤ በፊት ወንበር ላይ በመደገፊያውና በጭንቅላት መካከል ያለው ክፍተት ከ55 ሚሊሜትር እንዳይበልጥ ተደነገገ፣ ለፋብሪካዎቹም ጥቂት ዓመታት ተሰጣቸው። ስለዚህ ከ2009 ወዲህ የተሠሩ ብዙ መኪኖች መደገፊያቸው ወደፊት የመጣ ነው። «የድሮ መኪናዬ እንዲህ አያደርገኝም ነበር» የምትሉ ሰዎች ተሳስታችሁ አይደለም፣ እውነታችሁን ነው። ሰው የማያውቀው ግን ያ ክፍተት የሚለካው የወንበሩ ጀርባ 25 ዲግሪ ያህል ወደኋላ ጋደል ብሎ መሆኑን ነው። እንደ እኔ ቀጥ ብሎ መቀመጥ ለሚወድ ሰው ክፍተቱ ይጠፋል፣ መደገፊያው በቀጥታ ጭንቅላት ላይ ይመጣል።

ጋሼ ታዲያ ጀርባውን በትንሹ ወደኋላ ለቀቁት። እጄ እንዳይንጠራራ ወንበሩን ወደፊት አስጠግተው መሪውን ወደ እኔ ሳቡት። የመደገፊያውን አናት ከጭንቅላቴ አናት ጋር እኩል አደረጉት። ከዚያ ጭራሽ ያልጠበቅኩትን አሳዩኝ፦ መደገፊያው ራሱ ወደፊት ቀጭ ቀጭ እያለ የሚታጠፍ ነው፣ እስከ መጨረሻው ከሳቡት በኋላ ሲለቁት ደግሞ ወደ ኋለኛው ቦታው ተመልሶ ይሄዳል። ሁሉም መኪና ይሄ የለውም፣ ግን የእናንተን ሞክሩት። ለዚህ ሁሉ ምንም አልተቀበሉኝም። «ያልሰፋሁትን አላስከፍልም» አሉ።

የሕመሙ ግማሽ እዚያው ሄደ። የቀረውን ግማሽ ምክንያት ያገኙትም እሳቸው ናቸው። ከእኔ በፊት የነበረው ባለቤት ወንበሮቹን ቆዳ በሚመስል ነገር አልብሷቸዋል፣ ያማረም ይመስላል። ጋሼ የመደገፊያውን ልባስ ከስሩ ፈትተው ሲያወጡት ሁለት ጣት የሚያህል ውፍረት ያለው ድርቅ ያለ ስፖንጅ ወጣ። ሞላ ብሎ እንዲታይ ተብሎ የተጨመረ ነው። የፋብሪካው መደገፊያ ከነጨርቁ ከስሩ ተቀምጧል፣ ምንም አልሆነም። ለዓይን ብሎ አንገት መስበር ማለት ይሄ ነው።

ስግብግብ ሆኜ «የራሱንስ ስፖንጅ ትንሽ ቢቀንሱልኝ?» አልኳቸው። እምቢ አሉ። የፋብሪካውን ስፖንጅ አይነኩም፣ ብረቱንም አያጥፉም። ፊቱን ማዞሩንም ጠየቅኳቸው፤ ሲዞር ክፍተቱ ይሰፋል፣ ጭንቅላት የሚያርፍበትም ለእሱ ተብሎ የተሠራው ገጽ አይሆንም አሉኝ። ደግሞ በአንዳንድ መኪኖች መደገፊያው በወንበሩ ጀርባ ውስጥ ካለ ማንሻ ጋር የተያያዘ ነው። ሳብ የሚባለው የስዊድን መኪና ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1997 ይዞት የመጣው ዓይነት ማለት ነው፣ በግጭት ጊዜ የሰውዬው ጀርባ ወንበሩን ሲጫነው መደገፊያው በራሱ ወደላይና ወደፊት ይመጣል። ቮልቮም በዓመቱ ወንበሩ ራሱ አብሮ ወደኋላ እየሄደ ምቱን የሚያለዝብበት ሌላ ዘዴ አወጣ። እንግዲህ ይህን ሁሉ በጋዝ እሳት አሙቆ ማጠፍ ምን እንደሚያደርገው እናንተው አስቡት።

አሁን የምነግራችሁ ነገር ግን ከአንገቱም ይበልጥብኛል። ልባሱን ፈትተው ወደ ጎን ሲደርሱ ጋሼ ቆሙ። በወንበሩ በር በኩል ባለው ጎን ላይ «ኤርባግ» የምትል ትንሽ ምልክት አለች፤ ልባሱ ሸፍኗታል፣ በላዩ ላይ ደግሞ ድርብ ስፌት ሄዶበታል። የጎን ኤርባግ፣ ማለትም በግጭት ጊዜ ተነፍቶ ሰውን የሚከላከለው ከረጢት፣ የሚወጣው ከወንበሩ ውስጥ ነው፣ ሲወጣ ቀድዶት የሚያልፈው የላላ ስፌት ወይም ክፍት ቦታ ያስፈልገዋል። በዚያ ጠንካራ ልባስ ላይ ዘግይቶ ወይም ወዳልሆነ አቅጣጫ ሊወጣ ይችል ነበር። «ይሄን የሰፋው ሰው መርፌ ያውቃል፣ መኪና አያውቅም» አሉ። ሌላ ነገር አልጨመሩም። የሁለቱንም የፊት ወንበር ልባስ አውጥተው ጣሉትና ቀጠን ያለ ጨርቅ በልኩ ሰፉልኝ፣ የኤርባጉን ጎን ክፍት ትተው። ከወንበሩ ስር ያለችውን ቢጫ ሶኬት ረዳታቸው እንዳይነካት ሲቆጡትም ሰምቻለሁ፤ ቢጫው የኤርባግ መስመር ነው። ወንበር ልባስ ያሠራችሁ ሁሉ ዛሬውኑ ወርዳችሁ የወንበራችሁን ጎን እዩ።

እዚያ ከሄድኩ አይቀር ብዬ ትንንሾቹንም አሠራሁ። መደገፊያው ሲንቀጫቀጭ የነበረው ብረቶቹ የሚገቡበት ፕላስቲክ ስለተበላ ነው፣ ቀየሩት፣ ዝም አለ። የኋላው በር ሽፋን ሙዚቃ በከፈትኩ ቁጥር ይንጫጫ ነበር። ከፍተው ሲያዩት ክሊፖቹ ተሰብረው አንድ ሰው ማስቲሽ አፍስሶበታል። ጠርገው በልኩ ክሊፕ ገጠሙ፣ ፕላስቲክና ብረት በሚነካካበት ቦታ ቀጭን ጨርቅ ለጠፉ። በማርሹ ዙሪያ ያለው የሚያብለጨልጭ ጥቁር ፕላስቲክ ጭረት በጭረት ሆኖ ፀሐይ ሲመታውም ዓይኔን ይወጋኝ ነበር፤ ደብዘዝ ባለ ጥቁር ስቲከር ሸፈኑት። እውነቱን ለመናገር ከሁሉም በየቀኑ የሚያስደስተኝ እሱ ነው፣ ይገርማል።

ከውጭ ደግሞ የፓራውልቱና የጎማው ዙሪያ ጥቁር ፕላስቲክ በፀሐይ ነጣ ብሎ ነበር። ብዙ ቦታ የሚቀቡት ዘይት ነገር ነው፣ አንድ ዝናብ ሲመታው ይሄዳል፣ አቧራም ይሰበስባል። ጋሼ መጀመሪያ በደንብ አሳጠቡት፣ ከዚያ የሚደርቅ ቀለም መሰል ሽፋን ቀቡት፣ እስካሁን እንዳማረበት ነው። በሩ ላይ ሌላ መኪና በሩን ሲከፍት እንዳይጭረው የጎን መከላከያ ላስቲክ አስለጠፍኩ። ባለሁለት ገጹ ቴፕ ከመለጠፉ በፊት በሩን በአልኮል ጠረጉት፣ ጠበቅ አድርገው ተጫኑት፣ ከዚያ ሦስት ቀን እንዳይታጠብ አዘዙኝ። ይሄ ዓይነቱ ቴፕ ሙሉ ጥንካሬውን የሚይዘው በ72 ሰዓት ገደማ ነው። ለጥፈው ወዲያው ውሃ ያፈሰሱበት ነው በኋላ ጫፉ እየተነሳ የሚያስቀይመው።

የፊት መብራቱን ጥቁር ስቲከር ላልብሰው ብላቸው ግን ሳቁብኝ። መብራቱ ራሱ ወይቦ ነበርና እሱን ውሃ በነካ የብርጭቆ ወረቀት ከሻካራው ወደ ለስላሳው እያሹ አጸዱት፣ በላዩ ፀሐይ የሚከላከል ቫርኒሽ ነፉበት። ያለ ቫርኒሹ በአጭር ጊዜ መልሶ እንደሚወይብ ነገሩኝ። ማታ ስነዳ ልዩነቱ ይታያል፣ ስቲከሩንም ረሳሁት።

እንከናቸውንም ልንገራችሁ፣ ማስታወቂያ እንዳይመስል። ስልክ አያነሱም፣ መልዕክት ላኩላቸው። የቀጠሩበት ቀን ያልፋል፣ ምክንያቱም ያልወደዱትን ስፌት ፈትተው እንደገና ይጀምራሉ። የሚያብለጨልጭ ነገር፣ ባለ ቀለም መብራት፣ ከወንበሩ ጋር የማይሄድ ጌጥ የምትፈልጉ ከሆነ ሌላ ቦታ ሂዱ፣ እሳቸው ላይ ጊዜያችሁን አታጥፉ። ለማሳመን መሞከርም ዋጋ የለውም፣ ሞክሬዋለሁ።

ጋሼ፣ ይሄን የሚያነብልዎት ሰው ካለ እጅዎ ይባረክ። ለረዳትዎም ምስጋናዬን ያድርሱልኝ፣ ያን ሁሉ የደረቀ ማስቲሽ በጥፍሩ የፋቀው እሱ ነው።

ለምትሄዱ ሰዎች አንድ ነገር፦ የመኪናችሁን የፋብሪካ መደገፊያ ነቅላችሁ ቤት ያስቀመጣችሁ ካላችሁ ይዛችሁት ሂዱ። የሌላ መኪና መደገፊያ አምጥታችሁ ግጠሙልኝ ካላችኋቸው ብረቱ ገብቶ እንኳ ቁልፉ ካልያዘ አይሠሩላችሁም። ስትሄዱም ሁልጊዜ የምትነዱበትን ጫማ አድርጉ፣ ፀጉራችሁንም ሁልጊዜ እንደምታስሩት እሰሩት፤ መጀመሪያ የሚያስቀምጧችሁ መሪው ፊት ነው።