ተራራ ላይ ዲስክ ጎልፍ ልትጫወቱ ያሰባችሁ፣ የመያዣውን ብር ከመላካችሁ በፊት ይቺን አንብቡ

ያ ጀማዓ! የደሴም የኮምቦልቻም ልጆች፣ ሰሞኑን በቲክቶክ የሚዞረውን ከደሴ በላይ ያለውን የዲስክ ጎልፍ ቦታ አይታችሁ ለቅዳሜና እሑድ ሰው እያሰባሰባችሁ ከሆነ ትንሽ ቆዩ። ስሙን አልጠራም፤ ቪዲዮውን ያየ ያውቀዋል። መግቢያው 300 ብር ነው፣ እሱ አያስቆጭም። የሚያስቆጨው «የዲስክ መያዣ ነው፣ ስትወጡ ይመለሳል» ተብሎ ቀድሞ በቴሌብር የሚላከው በነፍስ ወከፍ 3,000 ብር ነው። ለሁለት ዲስክ፣ አንዱ በ1,500 ሒሳብ። ሜዳውን ያሰመረው ሰው ያ ብር እንዳይመለስ አድርጎ ነው ያሰመረው። እንዴት እንደሆነ ላስረዳ።

ጨዋታውን ለማታውቁት፦ ዲስክ ጎልፍ ማለት በኳስና በዱላ ፋንታ ዲስክ (እንደ ሳህን ያለ ክብ ፕላስቲክ) እየወረወሩ፣ በጉድጓድ ፋንታ ሰንሰለት የተንጠለጠለበት የብረት ቅርጫት ውስጥ መክተት ነው። በትንሽ ውርወራ የጨረሰ ያሸንፋል። ባለ ሰንሰለቱን ቅርጫት የፈለሰፈው ኤድ ሄድሪክ የሚባል አሜሪካዊ ነው፤ የመጀመሪያው ቋሚ ሜዳም እ.ኤ.አ. በ1975 ካሊፎርኒያ ውስጥ ኦክ ግሮቭ በሚባል መናፈሻ ተተከለ። (ሰውዬው ሲሞት አመዱ ከፕላስቲክ ጋር ተቀላቅሎ ዲስክ ተሠርቶበታል፤ የፍቅር ጥግ ይሏል ይሄ ነው።) በውጭ አገር አብዛኛው ሜዳ የሕዝብ መናፈሻ ውስጥ ስለሆነ መግቢያ አይከፈልበትም፣ ተጫዋቹም የራሱን ዲስክ ይዞ ነው የሚሄደው። እኔ ይህን ያወቅሁት ለዒድ ቤተሰብ ሊጠይቅ ከሚኒሶታ ከመጣው የአክስቴ ልጅ ነው። ልጁ እዚያ ሁሌ ይጫወታል፣ ዲስኮቹንም በቦርሳ ይዞ መጥቶ ነበር። በር ላይ «የውጭ ዲስክ አይገባም፣ ደረጃውን አያሟላም» ብለው ቦርሳውን ጥበቃ ቤት አስቀመጡበት። የሆነ ነገር እንዳለ የጠረጠረው ያኔ ነው።

ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ቀኝ እጁን የሚጠቀም ሰው እንደተለመደው ክንዱን በደረቱ አሳልፎ ሲወረውር፣ ዲስኩ መጨረሻ ላይ ጉልበት ሲያንሰው ወደ ግራ ይታጠፋል። የወርዋሪው ጥፋት አይደለም፣ የሽክርክሪቱ ባሕርይ ነው። ከፍታ ላይ ደግሞ ይብሳል። ደሴ ራሷ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ሜዳው ከከተማዋም በላይ ነው፤ እዚያ አየሩ ከባሕር ዳርቻ አየር በሩብ ያህል ይሳሳል። የሳሳ አየር ዲስክን ደግፎ አያቆየውም፤ ቶሎ ይወርዳል፣ ወደ ግራም ቶሎ ይሰብራል። የአክስቴ ልጅ አገሩ ላይ ቀጥ ብሎ የሚሄድለት ውርወራ እዚህ እየተጠማዘዘ ሲያስቸግረው መጀመሪያ ትከሻው የተነካ መስሎት ነበር። ተራራ ላይ የሚጫወቱ ሰዎች ቀለል ያለና ቀጥ ብሎ ለመሄድ የማያስቸግር ዲስክ የሚመርጡት ለዚህ ነው። እዚህ የሚያከራዩት ግን በሙሉ ከባዱንና ጠርዙ የሰላውን፣ ክንደ ብርቱ ባለሙያ ብቻ የሚያዝዘውን ዓይነት ነው። ለጀማሪ! ከኮምቦልቻ የሐረጎን ዳገት ወጥቶ ገና ትንፋሹን ላልሰበሰበ ሰው!

ታዲያ ገደሉ በየት በኩል ያለ ይመስላችኋል? በግራ። ከመጀመሪያው ቅርጫት እስከ መጨረሻው በግራ። ሜዳው ተራራውን በስተቀኝ አድርጎ ይዞራል፣ አንድም ቦታ ላይ አቅጣጫ አይቀይርም። ቅርጫቶቹን ሳይነቅሉ የመነሻውን አቅጣጫ ብቻ ቢገለብጡት ዲስኩ ሁሉ ተራራው ላይ ያርፍ ነበር። የአክስቴ ልጅ ይህን ለአስተባባሪው በትሕትና ነገረው። መልሱ «እይታው በዚህ በኩል ነው የሚያምረው» የሚል ነበር። እይታው ያምራል፣ አልዋሽም፤ የጦሳ ተራራ ፊት ለፊት፣ ከታች ከተማዋ። ግን ለሁለት የተቆረጠ በርሜል ገደል አፋፍ ላይ ተክሎ ቅርጫት ነው ማለት ሌላ ነገር ነው። ሰንሰለቱ ያለው ዲስኩን ይዞ እንዲያስቀር ነው፤ በርሜል የመታ ዲስክ ነጥሮ ይመለሳል፣ ወዴት እንደሚመለስ ገምቱ። ማስታወቂያው 18 ቅርጫት ብሎ 9 ብቻ መሆኑን እንኳ እተወዋለሁ፤ ዘጠኙን ሁለቴ መዞር በሌላውም አገር ያለ ነው።

መያዣው በራሱ በዝቷል ብዬ አይደለም። አዲስ ዲስክ ውጭ አገር 10 ዶላርና ከዚያ በላይ ያወጣል፣ በእውነት ከጠፋ 1,500 መክፈል አግባብ ነው። እነዚህ ዲስኮች ግን አይጠፉም።

እኔ የተሰጠኝ ብርቱካናማ ነበር፣ ጀርባው ላይ በማርከር 17 ተጽፎበታል። ከቁጥሩ ሥር በሽቦ ተፍቆ ያልለቀቀ የስልክ ቁጥር ይታያል፣ 09 የሚለው በደንብ ይነበባል። ዲስክ ጎልፍ የሚጫወቱ ሰዎች ቢጠፋ ያገኘው እንዲመልስላቸው ስማቸውንና ስልካቸውን ይጽፉበታል፤ እንግዲህ የማን እንደነበረ አላህ ይወቅ። 17 ገደል ገባ። በኋላ ሻይ ላይ ተቀምጠን አንድ ልጅ በማዳበሪያ ከረጢት ዲስክ ተሸክሞ በጓሮ በር ገባ። አስተባባሪው ለልጁ ብር ሰጥቶ እየጠረገ ሳጥን ውስጥ ሲደረድር ብርቱካናማው 17 ከመሃል ወጣ። ተነሥቼ «ይሄ የእኔ ነው፣ መያዣዬን መልስልኝ» አልኩት።

«ወንድሜ፣ 17 ጠፍቷል ተብሎ ተመዝግቧል።»

«ይኸው እጅህ ላይ አይደል እንዴ?»

«እኛ የምናየው መዝገቡን ነው።»

እኛ ሳንወጣ 17ን ለሚቀጥለው ሰው አከራዩት። ሰውየው ከሚስቱና ከልጆቹ ጋር ነበር፤ ቀርቤ ነገርኩት፣ ግን እሱም ብሩን አስቀድሞ ልኳል።

ከብሩ በላይ የከነከነኝ ዲስክ የሚለቅሙት ልጆች ናቸው። ያንን ገደል በእግራቸው ነው የሚወርዱት፣ አንዳንዶቹ በሸበጥ። ዝናብ ሲጥል መሬቱ ምን እንደሚሆን የደሴ ሰው አይነገረውም። ስንመለስ ከሥር የሚኖሩ አንድ አባት መንገድ ላይ አግኝተናቸው ነበር፤ «ልጄ፣ ከላይ ሳህን እየዘነበብን ነው፤ ላሜን ታፋዋ ላይ መትተዋታል» አሉን። እያንዳንዱ ዲስክ 170 ግራም ገደማ ነው፣ ጠርዙም ጠንካራ። ነገ የእኚህ ሰውዬ የልጅ ልጅ ቢመታ «ተመዝግቧል» ሊሉ ነው?

ሌላው ጥቃቅን ነው፣ ግን እወቁት። አስጎብኚ ካልያዛችሁ አትገቡም፣ 400 ብር ነው፣ እሱም ቅርጫቱን በጣት ከማሳየት ሌላ ሥራ የለውም። ጉም ከወረደ ገንዘብ አይመለስም ይላሉ፤ ደሴ ላይ! የዋጋ ዝርዝር የተለጠፈበት ቦታ የለም፣ ደረሰኝ ስትጠይቁ «ማሽኑ ተበላሽቷል» ነው።

አዋጅ ቁጥር 813/2006፣ የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃው፣ ነጋዴ ዋጋውን በሚታይ ቦታ እንዲለጥፍና ደረሰኝ እንዲሰጥ ያዛል፤ አሳሳች ማስታወቂያንም ይከለክላል። «ይመለሳል» ተብሎ የተወሰደ መያዣ፣ ዕቃው በእጃቸው እያለ የማይመለስበት ምክንያት የለም። ብራችሁን ልካችሁ ገና ካልሄዳችሁ፣ ስትገቡ የእያንዳንዱን ዲስክ ቁጥርና ጀርባ ፎቶ አንሡ፤ ስትወጡ ሳጥኑ እንዲከፈት ጠይቁ። ስትወረውሩም ክንዳችሁን በደረት አሳልፋችሁ ሳይሆን በጎን፣ ውኃ ላይ ጠጠር እንደሚያስነጥር ሰው ወርውሩ፤ በቀኝ እጅ እንደዚያ ሲወረወር ወደ ቀኝ፣ ወደ ተራራው ነው የሚታጠፈው። የአክስቴ ልጅ ይህን ካወቀ በኋላ አንድም አልጠፋበትም፣ ያኔ ደግሞ «ጠርዙን ጫርከው» ብለው 500 ቆረጡበት።

ለከተማው ንግድ መምሪያ ማመልከቻ እያዘጋጀሁ ነው። እናንተም መያዣ የተበላባችሁ ካላችሁ የቴሌብሩን መልእክትና የዲስኩን ቁጥር በውስጥ ላኩልኝ። በተለይ ከእኔ በኋላ 17 ቁጥር የደረሳችሁ።