«ከዓለም እኩል» ለሚባለው የገና ፊልም ጥቅል አስቀድማችሁ ገንዘብ እንዳትልኩ

በደብረ ብርሃንና በአካባቢዋ የምትኖሩ ፊልም ወዳጆች፣ በተለይም ልጆቻችሁን ይዛችሁ ለገና አዳራሽ ለመግባት ያሰባችሁ ወላጆች፣ ገንዘባችሁን ከመላካችሁ በፊት ይህን ጽሑፍ እስከ መጨረሻው እንድታነቡልኝ እለምናችኋለሁ። ባለፈው ክረምት በአንድ የኪራይ አዳራሽ በተዘጋጀ «የወር ጥቅል» በተባለ የፊልም ትርኢት እኔና የ11 ዓመት ልጄ 1,600 ብር ከፍለን ተታለናል። ጉዳዩን ለጎረቤትና ለሥራ ባልደረባ ከማውራት ያለፈ ነገር አላደረግሁም ነበር፤ በዚህ ሳምንት ግን ያው አዘጋጅ በያው የስልክ ቁጥር አዲስ ማስታወቂያ ለጥፎ ስላየሁ ዝም ማለት ሕሊናዬ አልፈቀደልኝም።

ሰኔ 2017 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ በከተማችን የተለጠፈው ማስታወቂያ በአራት ተከታታይ ቅዳሜዎች አራት አዳዲስ ፊልሞች «ከዓለም እኩል፣ በሲኒማ ጥራት፣ ለመላው ቤተሰብ» እንደሚታዩ ይገልጻል። ዋጋው ለአዋቂ 1,000 ብር፣ ለልጅ 600 ብር ሲሆን፣ የሚከፈለውም አስቀድሞ፣ በአንድ ግለሰብ ስም በተከፈተ የቴሌብር ሒሳብ ነው። ደረሰኝ የለም፤ ትኬት በሚባለው ፈንታ ስማችን በደብተር ተመዘገበ። ፊልም አዋቂ ነኝ አልልም። በዓመት አምስት ስድስት ፊልም የማይ፣ አይቼም ከልጄ ጋር እየተከራከርኩ ወደ ቤት መሄድ የምወድ ተራ ተመልካች ነኝ። ለዚህ ዓይነቱ ሰው ደግሞ አዲስ አበባ ድረስ 130 ኪሎ ሜትር ሳይጓዝ ፊልም ማየት መቻሉ ትልቅ ነገር ነውና ሳልጠይቅ ከፈልኩ።

የመጀመሪያው ቅዳሜ፣ ሐምሌ 5፣ ያሳዩን ራያን ኩግለር ያዘጋጀውን «ሲነርስ» ነበር። ታሪኩ በ1932 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በሚሲሲፒ የሚፈጸም ሲሆን፣ ማይክል ቢ. ጆርዳን ብቻውን ሆኖ የሚጫወታቸው መንትያ ወንድማማቾች ለጥቁር ሠራተኞች የሙዚቃና የመጠጥ ቤት ይከፍታሉ፤ ሌሊቱ ሲገፋ ደም መጣጮች በሩን ያንኳኳሉ። እኔ ካየኋቸው የዚያ ዓመት ፊልሞች ሁሉ ይህን አስበልጣለሁ። ወጣቱ ዘፋኝ ጊታሩን ይዞ ሲጀምር ያለፉት አባቶችም ገና ያልተወለዱትም በአንድነት ወደ ጭፈራው የሚገቡበት ትዕይንት አለ፤ ጥሩ አዝማሪ መሰንቆውን ሲገዘግዝ ቤቱ ውስጥ የሌለ ሰው ሁሉ የተጠራ ያህል ሲሰማው የሚያውቅ ሰው ትዕይንቱን ያለ አስተርጓሚ ይረዳዋል። ምስሉም ጥርት ያለ ነበር፤ እኛም «እውነትም ሲኒማ መጣልን» ብለን ተመለስን።

በኋላ እንደተረዳሁት ጥራቱ የመጣው ከአዳራሹ አልነበረም። ፊልሙ በሲኒማ ቤቶች የወጣው ሚያዝያ 10 ነው፤ ከግንቦት መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ በኢንተርኔት ለሽያጭ ቀርቦ ስለነበር ንጹሕ ቅጂው በየስልኩ ይዘዋወር ነበር። «ከዓለም እኩል» የተባለው ነገር ከሁለት ወር በላይ የቆየ ነበር ማለት ነው። ከዚህ የባሰው ግን ሌላ ነው። ይህ ፊልም በአሜሪካ ዕድሜው ከ17 ዓመት በታች የሆነ ልጅ ያለ ወላጅ ወይም ያለ አሳዳጊ እንዳያየው የተመደበ ሲሆን፣ ማስታወቂያው «ለመላው ቤተሰብ» ይላል። ልጄ ከእኩሌታው ጀምሮ ፊቷን ጋቢዬ ውስጥ ቀብራ ነው የጨረሰችው። ያን ዕለት እጇን ይዤ አለመውጣቴ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

በሁለተኛው ቅዳሜ በረዶ የቀላቀለ ዝናብ እየወረደብን ሄድን። የታየው የመኪና እሽቅድምድም ፊልሙ «ኤፍ ዋን» ሲሆን፣ በሲኒማ ቤቶች ከወጣ ገና ሦስት ሳምንት ገደማ ብቻ ነበርና አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቷል። ምስሉ ሲጀምር አንዱ ጠርዙ ወደ ውስጥ ዘምሞ ነበር፤ ፕሮጀክተሩ ተንጋዶ ነው ብለን ጠበቅን። ጥቂት ቆይቶ ከታች በስተቀኝ የአንድ ሰው ራስ ጥላ ብድግ አለ፣ በምስሉ ላይ አቋርጦ ሄደ፣ ጥቂት ቆይቶም ተመለሰ። ልጄ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ «አባዬ፣ ሰውየው ያለው ፊልሙ ውስጥ ነው ወይስ እዚህ?» ብላ ጠየቀችኝ። ሰውየው የነበረው እዚህም እዚያም አልነበረም፤ በማናውቀው አገር በሚገኝ ሲኒማ ቤት ውስጥ ካሜራ በድብቅ የያዘ ሰው ፊት ለፊት ተቀምጦ የነበረ ተመልካች ነው። ከዚያ በኋላ ሳቁንም ልብ አልነው። እኛ ጭጭ ባልንበት ሰዓት ከድምፅ ማጉያው ውስጥ የሌላ ሕዝብ ሳቅ ይወጣል፤ እኛ የምንስቅበት ስንደርስ ደግሞ ንግግሩ በማሚቶ ተውጦ አይሰማም።

የፊልሙ ርዝመት 155 ደቂቃ ነው። በማስታወቂያው ላይ የተጻፈው ሰዓት ግን «ከ8 እስከ 10፣ ከ10 እስከ 12» ስለነበር፣ ከውጭ የሚጠብቀውን ሰው ለማስገባት ሲሉ የመጨረሻውን ውድድር መሐል ላይ ቆርጠው መብራት አበሩ። ዋናው ተዋናይ ያሸንፍ አያሸንፍ ሳናውቅ ካፖርታችንን ለብሰን ወጣን።

በሦስተኛው ቅዳሜ የታየው ሐምሌ 4 በአሜሪካ ሲኒማ ቤቶች የወጣው «ሱፐርማን» ነበር። ይህኛው ደግሞ በግርጌው የውጭ ቋንቋ ጽሑፍ የታተመበት፣ በአናቱ የቁማር ድርጅት ማስታወቂያ በየአሥር ደቂቃው የሚያልፍበት ቅጂ ነበር። ልጆች በተሞሉበት አዳራሽ የቁማር ማስታወቂያ። አራተኛው ቅዳሜ ለልጆች የሚሆን ፊልም የተቀጠረበት ሲሆን፣ ስንደርስ አዳራሹ ተቆልፎ አገኘነው፤ ስልክ ብንደውል «ጄኔሬተር ተበላሽቷል፣ በሚቀጥለው ይካካሳል» ተባልን። አልተካካሰም። ገንዘቤን እንዲመልስልኝ በአካል አግኝቼ ስጠይቀው አዘጋጁ «ጋሼ፣ ሦስቱን አይታችሁ የለም እንዴ? ለአንዱ ብለው ነው?» አለኝ። እኔ ግን ሦስቱን አይቻለሁ ብዬ አላምንም።

አላምንም የምለው ከወራት በኋላ አዲስ አበባ የሚኖር ወንድሜ ቤት፣ በሕጋዊ መንገድ ከፍሎ በሚከታተለው አገልግሎት፣ «ኤፍ ዋን»ንና «ሱፐርማን»ን እንደገና ስላየኋቸው ነው። በአዳራሹ ስንወጣ «ኤፍ ዋን» አሰልቺ ነው ብዬ ለባልደረቦቼ ሁሉ ተናግሬ ነበር። በእርግጥም ታሪኩ አዲስ አይደለም፤ ዕድሜው የገፋ አሽከርካሪ እየወደቀ ያለ ቡድን ለመርዳት ይመለሳል፣ ትዕቢተኛ ወጣት ባልደረባ ይገጥመዋል፣ ቀሪውን ማንም ይገምተዋል። ነገር ግን ዳይሬክተሩ ጆሴፍ ኮሲንስኪ ካሜራዎቹን በሚሮጡት መኪኖች ላይ አስሮ በእውነተኛ የውድድር ሜዳዎች ስለቀረጸው፣ የፊልሙ ዋጋ ያለው በሞተሩ ድምፅ፣ በመንገዱ ፍጥነትና በሃንስ ዚመር ሙዚቃ ውስጥ ነው። የተሰረቀው ቅጂ የገደለው ይህንኑ ነው፤ ደካማውን ታሪክ አስቀርቶልን ጠንካራውን ወሰደብን። «ሱፐርማን»ም እንደዚሁ ነው። ገጸ ባሕርያቱ በዝተውበት መሐል ላይ የሚጨናነቅ ፊልም ነው፤ ሆኖም ጄምስ ጋን ደማቅ ቀለም የሰጠው፣ ቅን ጀግና ያለው፣ ክሪፕቶ የተባለው ውሻ በታየ ቁጥር ልጄን ከወንበር የሚያስነሳ ሥራ ነው። በአዳራሹ ግን ሁሉም ነገር አመድ መስሎ ነበር፤ ልጄ ውሻው ነጭ መሆኑን ያወቀችው በወንድሜ ቤት ነው።

ስለዚህ የተወሰደብን ገንዘብ ብቻ አይደለም። ሰው አንድን ፊልም ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያየው አንድ ጊዜ ብቻ ነውና ያችን የመጀመሪያ ጊዜ ማንም አይመልስልንም። እኔም ለማላውቀው ፊልም የሐሰት ምስክር ሆኜ ስንት ሰው እንዳይመለከተው አድርጌያለሁ።

ትክክለኛው አሠራር እንዴት እንደሆነ ማወቅ ለሁላችሁም ይጠቅማል። አዲስ ፊልም ለሲኒማ ቤት የሚላከው በተቆለፈ የዲጂታል ፋይል ሲሆን፣ መክፈቻ ቁልፉ ለዚያ አዳራሽ መሣሪያ ብቻ፣ ለተወሰኑ ቀናት ብቻ እንዲሠራ ተደርጎ በተናጠል ይሰጣል። ከቀኑ በፊትም ከቀኑ በኋላም አይከፈትም፤ ወደ ሌላ አዳራሽ ቢወሰድም አይሠራም። በመሆኑም ፊልሙ ከወጣ ሁለትና ሦስት ሳምንት ሳይሞላው ከላፕቶፕ በተራ ፕሮጀክተር የሚያሳያችሁ ሰው ከሲኒማ ቤት በካሜራ የተሰረቀ ቅጂ ይዟል ብላችሁ ብትጠረጥሩ አትሳሳቱም።

ልጅ ሳለሁ ቪዲዮ ቤት ገብተን በአግዳሚ ተደርድረን ያየናቸው ፊልሞችም የተባዙ ካሴቶች እንደነበሩ አልክድም። ነገር ግን የቪዲዮ ቤቱ ባለቤት «ሲኒማ ነው» ብሎን አያውቅም፤ ዋጋውም የቪዲዮ ቤት ዋጋ ነበር፣ ካሴቱ ሲበላሽም ሳንቲማችንን ይመልስልን ነበር። እኔ የምቃወመው የሲኒማ ዋጋ በሲኒማ ስም ተቀብሎ የተሰረቀ ነገር መስጠትን ነው። በዚህ መሐል የአገራችን ፊልም ሠሪዎችም ይጎዳሉ፤ ለፊልሙ ባለቤት ምንም የማይከፍል አዘጋጅ ቅዳሜውን ሁሉ በነጻ ባገኘው ቅጂ ከሞላው፣ ከገቢው ድርሻ የሚጠይቀውን የአማርኛ ፊልም ለማሳየት ምን ያነሳሳዋል?

አሁን የተለጠፈው የገና ጥቅል «አቫታር»ን ሦስተኛውን ክፍልና «ዙቶፒያ» ሁለትን ያካትታል። ዋጋው ለአዋቂ 1,200 ብር ሆኗል፤ ሒሳቡም ያው የግለሰቡ ሒሳብ ነው። የ«አቫታር» አዲሱ ክፍል በአሜሪካ ሲኒማ ቤቶች የወጣው ታኅሣሥ 10 ሲሆን፣ ርዝመቱ ከሦስት ሰዓት በላይ ነው። የተለጠፈው ፕሮግራም ግን ዛሬም ለእያንዳንዱ ፊልም ሁለት ሰዓት ብቻ ይሰጣል። ጄምስ ካሜሮን ፊልሙን የሠራው ልዩ መነጽር ተደርጎ በሦስት ልኬት (3D) እንዲታይ አስቦ ነው፤ በድብቅ የተቀረጸ ቅጂ ይህን ጨርሶ ሊያሳይ አይችልም። በማስታወቂያው ላይ ግን መነጽር ያደረጉ ልጆች ፎቶግራፍ ተለጥፏል። የትኛው መነጽር እንደሚታደል ደውዬ ጠይቄ ነበር፤ ስልኩ ተዘጋብኝ።

መክፈል ግድ የሚሆንባችሁ ካላችሁ፣ ለአንድ ትርኢት ብቻ፣ በዕለቱ፣ በር ላይ ክፈሉ እንጂ ጥቅል አትግዙ። የፊልሙን ርዝመት አስቀድማችሁ አጣሩና ከተሰጠው ሰዓት ጋር አስተያዩት፤ እኔን ሊያድነኝ ይችል የነበረው ይህች አንዲት ስሌት ነበረች። ለልጅ የሚሆን መሆኑን ከማስታወቂያው አትቀበሉ፣ የዕድሜ ምደባውን ራሳችሁ ፈልጉ። ደረሰኝም ጠይቁ፤ «አንሰጥም» የሚል ሰው ነገ የት እንደምታገኙት አታውቁም።

በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ሸማች ስለሚገዛው አገልግሎት ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው ይደነግጋል፣ ሐሰተኛና አሳሳች ማስታወቂያንም ይከለክላል። የሌላ ሰው ፊልም ያለ ፈቃድ ለሕዝብ ማሳየት ደግሞ በ1996 ዓ.ም. የወጣው የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410 የሚመለከተው ጉዳይ ነው። እኔ የክረምቱን ማስታወቂያ ፎቶግራፍና የቴሌብር የክፍያ መልእክቴን አያይዤ አቤቱታዬን ለከተማው ንግድ ጽሕፈት ቤት አስገብቻለሁ። በሐምሌ ከእኔ ጋር የነበራችሁ፣ በተለይም ከጫጫና ከአንኮበር መንገድ ድረስ ልጆቻችሁን ይዛችሁ በዝናብ የመጣችሁ ወላጆች፣ የክፍያ መልእክታችሁ ስልካችሁ ላይ ካለ እንዳታጠፉት፤ ከገና በፊት እናንተም አስገቡ።