ፕራይም 16 ኤችዲ፦ ለ60 ሴንቲሜትር የኮራል አኳሪየም ይበቃል?

የአኳኢሉሚኔሽኑ ፕራይም 16 ኤችዲ መዳፍ የሚያክል መብራት ነው። ኃይሉ ከ60 ዋት በታች ሲሆን 16ቱ ኤልኢዲዎች መሃል ላይ ተጠጋግተው ተቀምጠዋል። ጥንካሬውም ጉድለቱም የሚመነጨው ከዚህ አቀማመጥ ነው። ብርሃኑ ከአንድ ቦታ ተነሥቶ ስለሚዘረጋ የውሃው ሞገድ አሸዋው ላይ ሲጫወት በጣም ያምራል፤ በዚያው ልክ ግን መሃሉ ጠንክሮ ዳር ዳሩ ይሳሳል። ርዝመቱ 60፣ ወርዱና ከፍታው 45 ሴንቲሜትር ለሆነ ገንዳ አንድ ፍሬ ይበቃል። ለ90 ሴንቲሜትር ሁለት ያስፈልጋል። አንዱን ከፍ አድርጎ በመስቀል 90 ሴንቲሜትር ለመሸፈን መሞከር አያዋጣም፤ ብርሃኑ ይሰፋል እንጂ አይበዛም፣ ብዙውም ከገንዳው ውጭ ይባክናል።

ብዙ ሰው ገንዳውን ይገዛል፣ ድንጋዩን ይደረድራል፣ ስለ መብራት የሚያስበው መጨረሻ ላይ ነው። ቅደም ተከተሉ መገልበጥ አለበት። መጀመሪያ የትኛውን ኮራል ማሳደግ እንደሚፈልጉ ይወስኑ። ኮራል የሚጠቀምበት ብርሃን የሚለካው በፓር፣ ማለትም ለፎቶሲንተሲስ በሚያገለግለው የብርሃን መጠን ነው። እንደ እንጉዳይ ኮራልና ዞአንቲድ ላሉት ለስላሶች ከ50 እስከ 100፣ እንደ ዩፊሊያ ላሉት ኤልፒኤስ (ትልልቅ ፖሊፕ ያላቸው ድንጋያማ ኮራሎች) ከ75 እስከ 150፣ አክሮፖራን ለመሰሉት ኤስፒኤስ (ትንንሽ ፖሊፕ ያላቸው ድንጋያማ ኮራሎች) ከ200 እስከ 350 ጥሩ መነሻ ነው። በዚህ ሚዛን ሲታይ ፕራይም ለስላሳና ኤልፒኤስ ኮራሎችን 60 ሴንቲሜትሩን ሙሉ ያሳድጋል። አክሮፖራ ግን መሃል ላይ፣ ከድንጋዩ አናት እንጂ ጥግ ላይ አይሆንለትም። አክሮፖራ የሞላበት ገንዳ የሚፈልግ ሰው በዚሁ ስፋት ላይ ሁለት ፍሬ ቢሰቅል ይሻለዋል። አንድ ተጨማሪ ጥቅምም አለው፦ ቅርንጫፋም ኮራል ካደገ በኋላ ከሥሩ የሚፈጠረውን ድቅድቅ ጥላ ሁለተኛው መብራት ከጎን ይሰብረዋል።

ፓር መለኪያ ውድ ስለሆነ ተውሶ ወይም ተከራይቶ አንድ ቀን መለካት በቂ ነው። አፖጂ ኤምኪው 510 ለውሃ ውስጥ ልኬት የተስተካከለ በመሆኑ ይመረጣል። አሸዋው ላይ፣ ድንጋዩ ወገብ ላይና አናቱ ላይ፣ እያንዳንዱን በመሃልና በሁለቱ ዳር ለክተው ይመዝግቡ። በስልክ የሉክስ መተግበሪያ መለካት ያሳስታል። ሉክስ የሰው ዓይንን ተከትሎ የተሠራ መለኪያ ነው፤ ዓይናችን ደግሞ ለአረንጓዴ እንጂ ለሰማያዊ ብዙም ንቁ አይደለም። ኮራልን የሚመግበው ብርሃን በአመዛኙ ከ400 እስከ 480 ናኖሜትር ያለው ስለሆነ፣ ለዓይን ደብዘዝ ያለ የሚመስለው ሰማያዊ ገንዳ ኮራሉን ሊያቃጥል የሚችል ኃይል ይዞ ሊሆን ይችላል።

ኤችዲ የሚለው ስም ፍሬ ነገር አለው። መብራቱ የተወሰነ ጠቅላላ ኃይል ይዞ በቻናሎቹ (በየቀለሙ በተለዩት የኤልኢዲ ክፍሎች) መካከል ያከፋፍላል፤ አንዱን ሲቀንሱ የተረፈው ለሌላው ተሰጥቶ ከ100 በመቶ በላይ መውጣት ይችላል። ስለዚህ ሁሉንም ቻናል እኩል ማብራት የመብራቱን ዋና ጥቅም መጣል ነው። አልትራቫዮሌት፣ ቫዮሌትና ሁለቱን ሰማያዊዎች ከፍ አድርገው፣ ነጩን ከ10 እስከ 20 በመቶ፣ አረንጓዴና ቀዩን ከ5 በመቶ ባልበለጠ ይያዙ። ነጩ፣ አረንጓዴውና ቀዩ በዋናነት የሚያገለግሉት ለተመልካች ዓይን ነው። መልኩ አንዴ ከተስተካከለ በኋላ ቀለሞቹን ለየብቻ አይነካኩ፤ ከዚያ በኋላ የሚነካው ጠቅላላው መጠን ብቻ ነው።

ከውሃው ወለል ከ20 እስከ 25 ሴንቲሜትር ከፍታ ላይ ይስቀሉት። ከዚህ ዝቅ ካለ መሃሉ ይነድዳል፣ የፓምፑ ፍንጣቂም ይደርስበታል። መያዣ ክንዱ ለብቻው ስለሚሸጥ ሒሳቡን ሲሠሩ አብረው ይያዙት።

አዲስ መብራት ኮራልን የሚገድለው በአብዛኛው በብርሃኑ ድካም ሳይሆን በብርታቱ ነው። በኮራሉ ሥጋ ውስጥ የሚኖሩት ዙዛንቴላ የሚባሉት ረቂቅ አልጌዎች ብርሃኑ ሲያንስ ይበዛሉ፣ ኮራሉም ቡናማ ይሆናል። ብርሃኑ በድንገት ሲበረታባቸው ኮራሉ አልጌዎቹን ያስወጣና ይነጣል። ቡናማው በጊዜ ሂደት ይመለሳል፤ የነጣው ግን ብዙ ጊዜ አይመለስም። በመሆኑም ከታለመው መጠን 40 በመቶ ላይ ይጀምሩ፣ በየሳምንቱ 5 ይጨምሩ፤ የመብራቱ የስልክ መተግበሪያ ይህን በራሱ የሚያደርግ የማለማመጃ አማራጭ አለው። ምልክቶቹን ለማየት ቀረብ ብሎ መመልከት ነው። ዞአንቲድ አንገቱን አስረዝሞ ወደ ላይ ከተመዘዘ ብርሃን ጎድሎታል። ዩፊሊያ እኩለ ቀን ላይ ጣት መሰል ክንዶቹን ሰብስቦ ማታ ሲደበዝዝ ከተዘረጋ ደግሞ በዝቶበታል። የቀኑ ርዝመት 10 ሰዓት ይሁን፦ ለ2 ሰዓት መነሻ፣ ለ6 ሰዓት ሙሉ፣ ለ2 ሰዓት መውረጃ።

ከላይ የተጠቀሰው ገንዳ በስሌት 121 ሊትር ይይዛል፤ ድንጋይ፣ አሸዋና ከላይ የሚተወው ክፍተት ሲቀነስ 100 ሊትር ገደማ ይቀራል። በአርኦና ዲአይ (የውሃ ማጣሪያ ዘዴዎች ናቸው) የተጣራ ውሃ፣ በሊትር 36 ግራም ገደማ ጨው፣ ማለትም ወደ 3.6 ኪሎ፤ ከዚያ በሪፍራክቶሜትር (በጨዋማነት መለኪያ) እየለኩ 35 ፒፒቲ (ከሺህ 35 እጅ) ላይ ማስተካከል። 100 ዋት ማሞቂያ ውሃውን 25 ዲግሪ ላይ ይይዛል። በሰዓት ወደ 2000 ሊትር የሚያንቀሳቅስ ፍሰት፣ ለሁለት ፓምፕ ተከፍሎ። ድንጋዩ ከመስታወቱ ቢያንስ 8 ሴንቲሜትር ይራቅ፤ ማጽጃው ካላለፈ ጥጉ የአልጌ መኖሪያ ይሆናል። የሚተነው ውሃ የሚተካው በንጹሕ ውሃ ነው፣ በጨው ውሃ አይደለም፤ ጨው አይተንምና። 2 ሊትር ሲጎድል ጨዋማነቱ ከ35 ወደ 35.7 ይወጣል።

በአዲስ ገንዳ ውስጥ፣ ኮራል ከመግባቱ በፊት፣ ባክቴሪያው ከቆሻሻ የሚመነጨውን መርዛማ አሞኒያ ወደ ናይትራይት፣ ናይትራይትን ወደ ናይትሬት መለወጥ እስኪለምድ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ሊወስድ ይችላል። በዚህ ጊዜ መብራቱ ጠፍቶ ይቆይ። ባክቴሪያ ብርሃን አያስፈልገውም፤ በብርሃኑ የሚጠቀመው አልጌ ብቻ ነው።

የኤሌክትሪኩን ነገር ማቃለል አይገባም። እያንዳንዱ ገመድ ከሶኬቱ በታች ወርዶ ተመልሶ ይውጣ፤ በገመዱ ላይ የሚሄድ ጠብታ ሶኬት ውስጥ ሳይገባ ዝቅ ካለው ቦታ ወለል ላይ ይወድቃል። መስመሩም የኤሌክትሪክ ፍሳሽ ሲኖር በሚቆርጥ መሣሪያ ውስጥ ይለፍ።

የፕራይም ትልቁ ጉድለት ያለ ስልክ መተግበሪያ ቀለምና መጠን የማይስተካከል መሆኑ ነው። ኬሲል ኤ360ኤክስ የተባለው ባለ 90 ዋት መብራት አንድ ለቀለም፣ አንድ ለመጠን የሚዞር ቁልፍ ስላለው መተግበሪያ የማይወድ ሰው ቢመርጠው ያስኬዳል። ለ60 ሴንቲሜትር ገንዳ ግን ቀለማቱን ለየብቻ መቆጣጠር መቻሉ ፕራይምን ያስመርጠዋል።

ፋኑ ጨዋማ እርጥበት ስለሚስብ በየ3 ወሩ አቧራውንና ጨዉን በአየር ያስወጡለት። ሌንሱ ላይ እንደ ዱቄት ብን ያለ ነጭ ሽፋን ይቀመጣል፤ በየ2 ሳምንቱ መብራቱን አጥፍተው፣ ሲቀዘቅዝ፣ በተጣራ ውሃ በረጠበ ለስላሳ ጨርቅ ይጥረጉት። ለወራት ያልተጠረገ ሌንስ ከሆነ ግን መጀመሪያ መጠኑን 15 በመቶ ያህል ዝቅ ያድርጉ፤ ኮራሉ የለመደው በጨው የተጋረደውን ብርሃን ነው። ቢጫ የሆነ ውሃ ውስጥ ውሃ የሚያጠራ አዲስ አክቲቭ ካርቦን (የተዘጋጀ ከሰል) ሲገባም እንዲሁ ነው፦ ውሃው በአንድ ቀን ይጠራል፣ ብርሃኑ በዚያው ቀን ይበረታል። የቀነሱትን በሳምንት 5 እያደረጉ ይመልሱ።