"እናት፣ እሱን ነው የጠየቅኩት"

ይህን የምጽፈው አንዲት የንግግር ቴራፒስትን ለማመስገን ነው። ደግሞም አፉን በጊዜው ያልፈታ ልጅ ይዛችሁ የት እንደምትሄዱ ለጨነቃችሁ የሰሜን ሸዋ እናቶችና አባቶች ነው። ደብረ ብርሃንም ሁኑ፣ ሸዋ ሮቢትም፣ መሃል ሜዳም፣ ዓለም ከተማም፣ እኔ ያለፍኩበትን ሳልደብቅ ልንገራችሁ።

ልጄ 2 ዓመት ሲሞላው ያለችው ቃል "ማ" ብቻ ነበረች። እኔም "ማ"፣ ውሃም "ማ"፣ በጉም "ማ"። የምንለውን ግን ሁሉ ይሰማል። "ጋቢውን ለአባባ አምጣ" ስንለው ያመጣል። ስለዚህ ሁሉም ሰው አጽናናኝ። "ወንድ ልጅ አፉ ይዘገያል" አሉኝ። "አጎቱም እንዲሁ ነበር" አሉኝ። 3 ዓመት ሞላው። 4 ዓመት ሞላው። ድምፅ ማውጣት ጀመረ፤ ግን አንዱን ቃል ዛሬ እንዲህ፣ ነገ እንዲያ ነው የሚለው። "ቡና" ጠዋት "ኡና" ትሆናለች፣ ማታ "ባኑ" ትሆናለች። ያለው ሳይገባን ሲቀር መሬት ላይ ተዘርሮ ያለቅሳል። ሰው "አቅብጣችሁት ነው" ይላል። የቅብጠት ለቅሶ እንዳልሆነ እኔ እናቱ አውቃለሁ።

ጎረቤቶቼ የመሰላቸውን መከሩኝ። አንዷ "እንጥሉን አስቆርጪው" አለች። ሌላዋ "ምላሱ ሥር ታስሯል፣ ይበጠስለት" አለች። ክፋት የለባቸውም፤ ልጄን ይወዱታል። እኔም አንድ ቀን አዝዬው እስከ ቆራጩ ደጃፍ ሄጃለሁ። ደጃፉ ላይ ቆሜ ቆሜ ተመለስኩ። እግዚአብሔር መለሰኝ እላለሁ።

ስለዚህች ቴራፒስት የነገረችኝ ልጄን ስትከትብልኝ የነበረች ነርስ ናት። ቴራፒስቷ የምትሠራው አዲስ አበባ ነው። ከእኛ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ልጄን በጋቢ ጠቅልዬ ወደ መናኸሪያ ወጣሁ። የደብረ ብርሃንን የጥቅምት ውርጭ የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ጫጫን፣ ሸኖን፣ ሰንዳፋን አልፈን ላምበረት ስንወርድ ልጄ ተኝቶ ነበር።

ክፍሏ ስንገባ ለእኔ ወንበር አሳየችኝና ልጄ ፊት ቁጢጥ አለች። ዓይኗ ከዓይኑ እኩል ሆነ። "ስምህ ማነው?" አለችው። እኔ ቶሎ ብዬ ስሙን ተናገርኩ። ዞር ብላ ፈገግ አለችና "እናት፣ እሱን ነው የጠየቅኩት" አለችኝ። ከዚያ ዝም ብላ ጠበቀችው።

የልጄ ስም ውስጥ "ቅ" አለች። ለእሱ ከባድ ድምፅ ናት። አፉን ከፈተ፣ ከንፈሩን አንቀሳቀሰ፣ ዘጋው፣ እንደገና ከፈተው። እሷ አልቸኮለችም፣ አልሞላችለትም። ብዙ ቆይቶ የስሙን ጫፍ የምትመስል አንዲት ድምፅ አወጣ። "ሰማሁህ" አለችው። እኔ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ አለቀስኩ። ልጄ 4 ዓመት ሙሉ አንድም ሰው ጠብቆት አያውቅም ነበር። እኔም ጭምር። ስለምወደው እየቀደምኩ እናገርለት ነበር፤ ስናገርለት ደግሞ ቦታውን ወስጄበት ነበር።

የምላሱን ነገር ስነግራት ከላይኛው ከንፈሩ ላይ ማር ጠብ አደረገችለት። ምላሱን አውጥቶ ላሰው። ቀጥሎ ከግራም ከቀኝም ቀባችው፤ ያንንም ላሰ። "ይኸው፣ ምላሱ አልታሰረም" አለችኝ። እንጥል መቁረጥ ንግግር እንደማያመጣ፣ ደም መፍሰስና ኢንፌክሽን እንደሚያመጣ ረጋ ብላ አስረዳችኝ። ደጃፉ ላይ የቆምኩበት ቀን ትዝ አለኝና እጄ ተንቀጠቀጠ።

የዚያን ቀን ግን ልምምድ አልጀመረችም። ጆሮው ሳይመረመር አልጀምርም አለች። በደንብ የማይሰማ ልጅ በደንብ ሊናገር አይችልምና መጀመሪያ የሚጣራው መስማቱ ነው። ሲመረመር ጆሮው ደህና ሆነ። ሦስት ጊዜ ካየችው በኋላ ነው ችግሩ አፕራክሲያ እንደሚባል የነገረችኝ። ልጁ ማለት የሚፈልገውን ያውቃል። ከንፈሩም ምላሱም አልደከሙም። ችግሩ አእምሮው ለከንፈር፣ ለምላስና ለመንጋጋ የሚሰጠው የእንቅስቃሴ ቅደም ተከተል ላይ ነው። ለዚያ ነው አንዱ ቃል በየቀኑ የሚለዋወጥበት፤ ቃሉ በረዘመ ቁጥርም የሚብስበት። እርጉዝ ሆኜ ደንግጬ ስለነበር ይሆን ወይ ብዬ ጠየቅኳት። "አይደለም፣ አንቺ ያጠፋሽው ነገር የለም" አለችኝ። ጸበል እንደምንሄድም ነገርኳት። "ጸበሉንም ቀጥይ፣ ልምምዱንም ቀጥይ" አለች። እምነቴን ስላላጣጣለችብኝ አከበርኳት።

ልምምዱን እንዴት እንዳስጀመረችን በደንብ ልንገራችሁ። ጠረጴዛዋ ላይ የዝሆንና የአንበሳ ሥዕል ያለባቸው ካርዶች ነበሩ። ወደ ጎን አደረገቻቸውና "ቤት ውስጥ ቀኑን ሙሉ የሚፈልገው ምንድን ነው?" አለችኝ። ዳቦ፣ ውሃ፣ ቆሎ፣ በግ፣ ባና አልኳት። ባናው ከበግ ጠጉር የተሠራ የመንዝ ብርድ ልብስ ነው፣ አማቴ የሰጡት፤ ያለሱ አይተኛም። ቃላቶቹን ከእነዚህ መረጠች። በመጀመሪያ ያስቀመጠችው ግን እኔ ያልጠራሁትን ነው፦ "እምቢ"። ከንፈር ገጥሞ የሚወጣ ስለሆነ ይቀለዋል። ደግሞ መሬት ላይ እየተዘረረ የሚናገረው እሱን ነው አለችኝ። ቃሉ ካለው ለምን ያለቅሳል?

በቀን ሦስት ጊዜ፣ አስር አስር ደቂቃ። ጠዋት፣ ቡና ሲቆላ፣ ማታ ከመተኛቱ በፊት። ፊት ለፊት እንቀመጣለን። አፌን እያየ በዝግታ አብረን እንላለን፤ በእያንዳንዱ የቃሉ ክፍል ጉልበቱን መታ መታ አደርገዋለሁ። "ባ" መታ፣ "ና" መታ። ሲለምድ እኔ ድምፄን አጠፋና ከንፈሬን ብቻ አንቀሳቅሳለሁ። በመጨረሻ ለብቻው ይላል። ሲሳሳት "እንደዚያ አይባልም" አንለውም፤ በዝግታ ደግመን አብረነው እንላለን። "ቀ"ን፣ "ጠ"ን፣ "ጨ"ን ለኋላ አቆየቻቸው።

ሦስተኛው ሳምንት ላይ ጎመን ሳቀርብለት "እምቢ!" አለ። ጥርት ብሎ። አማቴ ከምድጃው ተነስተው እልል አሉ። እሱ ምን እንደተፈጠረ ግራ ገብቶት ያየን ነበር። ያን ቀን ጎመን አላበላሁትም።

በየሳምንቱ መመላለስ ለእኛ ከባድ ነበር። ትራንስፖርቱ ከሕክምናው ክፍያ ይብሳል። እዚህ ላይ ስለ ሐቀኝነቷ ልናገር። "በየሳምንቱ አትምጡ" ያለችን ራሷ ናት። በወር አንዴ እንሄዳለን፤ በመሃል ስንለማመድ በስልክ ቀርጬ በቴሌግራም እልክላታለሁ። ኔትወርክ ሲጠፋ ወይም መብራት ሲሄድ ሁለት ቀን ይዘገያል። እሷ ግን ያልመለሰችልኝ ቪዲዮ የለም። "እዚህ ጋ ፈጥነሻል"፣ "እዚህ ጋ አልጠበቅሽውም" ትለኛለች። እውነቷን ነው።

ትምህርት ቤት የማስገባት ጊዜ ደረሰ። አንድ ትምህርት ቤት "መናገር ሲችል አምጪው" ብሎ መለሰኝ። እያለቀስኩ ደወልኩላት። "ልመና አትሂጂ፣ ወረቀት ይዘሽ ሂጂ" አለችኝና በማግስቱ አንድ ገጽ ደብዳቤ ላከችልኝ። የሚነገረውን ሁሉ እንደሚረዳ፣ ሲጠየቅ በልባችሁ እስከ አስር ቆጥራችሁ ጠብቁት፣ ፊደልን በድምፅ መጥራት ሲያቅተው በጣቱ እያሳየ ይመልስ፣ ልጆች ፊት አቁማችሁ አታስደግሙት፣ "ዲዳ" እንዳይባል አድርጉ ይላል። ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትን በ2002 ዓ.ም. እንዳጸደቀች፣ አንቀጽ 24 ስለ ትምህርት መብት እንደሚናገርም ከታች ጽፋበታለች። ይህን ይዤ ወደ ሌላ ትምህርት ቤት ሄድኩ። እንደ ድሮው አንገቴን ደፍቼ አልገባሁም። ተቀበሉን። መምህርቷ ደብዳቤውን የጠረጴዛዋ መሳቢያ ውስጥ በፕላስተር ለጥፋዋለች። እሷንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

አሁን ልጄ 6 ዓመቱ ነው። አራት አምስት ቃል አያይዞ ይናገራል። ቸኩሎ ካልሆነ እንግዳ ሰውም አብዛኛው ይገባዋል። "ቆሎ" ይላል፤ ስሙንም ይላል። "ጨ" ገና ናት፣ እየሠራንባት ነው። መቼ ያልቃል ብዬ ስጠይቃት ቀን ቆርጣ ነግራኝ አታውቅም። ቀን ቆርጦ የሚነግራችሁ ካገኛችሁ ተጠራጠሩ።

እህቴ፣ ይህን ካነበብሽው፣ ልጄን ቁጢጥ ብለሽ ስለጠየቅሽው አመሰግንሻለሁ። ዝም ብዬ እሱን መጠበቅን ያስተማርሽኝ አንቺ ነሽ።

ለወላጆች፦ ልጃችሁ 2 ዓመት ሞልቶት ሁለት ቃል ማያያዝ ካልጀመረ አትቀመጡ፣ አስመርምሩት። ይናገራቸው የነበሩ ቃላት ከጠፉበት ደግሞ ዕድሜው ስንትም ቢሆን በዚያው ሳምንት ሂዱ። ስሟን በአደባባይ እንዳልጽፍ ስለጠየቀችኝ አልጻፍኩም። በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ አገናኛችኋለሁ። ልጁ የሚወደውን አንድ ዕቃ ከቤት ያዙ። ቤት ውስጥ ሲናገርም በስልክ ቅረጹት፤ እንግዳ ቦታ ሲደርስ ዝም ሊል ይችላል። ከቻላችሁ የጆሮ ምርመራውን ቀድማችሁ ጨርሱ፤ ካልሆነ እንደ እኛ ደርሳችሁ ትመለሳላችሁ።